የዲኑ ጽሑፍ ጠረጴዛዬ ላይ ነው

ደብዳቤሽ ረጅም ስለሆነ ለሌሎች አንባቢዎች ላሳጥረው። ጸሐፊዋ ደሴ የምትኖር፣ በኅብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪዋን ይዛ በሌክቸረርነት የምታስተምር ወጣት ናት። የምትሠራበት ኮሌጅ አዲስ የምርምር ጆርናል ሊያቋቁም ነውና ማኔጂንግ ኤዲተር እንድትሆን ተጠይቃለች። ደስ ብሏታል። ነገር ግን ለመጀመሪያው እትም ከገቡት ስድስት ጽሑፎች አንዱ ሹመቱን ያቀረቡላት የዲኑ ነው፤ ዲኑ ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፏ አማካሪ ነበሩ። በጽሑፉ ላይ በአራተኛነት ስማቸው የሰፈረው የትምህርት ክፍል ኃላፊም ጥናቱ ሲካሄድ ጨርሶ እንዳልነበሩበት ታውቃለች። «ልቀበል ወይስ ልተወው? ብቀበልስ ለጋሼ ምን እላቸዋለሁ? ሥራው ለነገ ምን ይጠቅመኛል?» ስትል ትጠይቃለች።

እህቴ፣ መጀመሪያ አብሽሪ። ከመፈረምሽ በፊት መጠየቅሽ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ብዙዎቻችን የጠየቅነው እትሙ ከማተሚያ ቤት ከወጣ በኋላ ነበር።

ሥራውን ተቀበዪ፤ ዛሬ ግን አትቀበዪው።

ሰው ስለ ጆርናል አዘጋጅነት ሲያወራ የሚያነሣው የቋንቋ እርማትን፣ የማጣቀሻ አጻጻፍንና የገጽ ቅንብርን ነው። እነዚህ በጥቂት ወራት ይለመዳሉ። ደሴ ውስጥ የሚከብደው ሌላ ነው። ጽሑፉን የመለስሽበት ሰው ቅዳሜ ከአንቺ ጋር ለቅሶ ይደርሳል፤ ሰኞ ገበያ ላይ ሰላም ይልሻል፤ እናትሽ ሲታመሙ የሚያክማቸውም እርሱ ሊሆን ይችላል። ሦስቱን ስኒ አብራችሁ ስትጠጡ «ያቺ ጽሑፌ እንዴት ሆነች?» ይልሻል፤ አንቺም አቦሉ ሳይጠናቀቅ ትረቺያለሽ። በይሉኝታ አልፈርድም፤ እስላምና ክርስቲያኑን በአንድ ለቅሶና በአንድ ሠርግ አገናኝቶ ወሎን ያኖረው አንዱ ነገር እርሱ ነው። ግን ብቻሽን፣ በባዶ እጅሽ አትቋቋሚውም። የሚቋቋመው የተጻፈ ሥርዓት ነው፤ ሥርዓቱም ሰውየው ጽሑፉን ይዞ ከመምጣቱ በፊት የተጻፈ መሆን አለበት። ከመጣ በኋላ የሚጻፍ ደንብ በእርሱ ላይ የወጣ ይመስላል።

ይህን የምልሽ ስለቀመስኩት ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ ጆርናል ረዳት አርታኢ ነበርኩ። አስተምረው ለወግ ያበቁኝ መምህር ጽሑፋቸውን ሰጡኝ። ለገምጋሚ መላክ እርሳቸውን መጠራጠር መሰለኝና ራሴው አንብቤ አሳለፍኩት። ከታተመ ከወራት በኋላ አንድ ተማሪ ሁለት ገጽ ያህሉ ከሌላ ሰው ሥራ የተገለበጠ መሆኑን ይዞ መጣ። ጽሑፉ ተሻረ። መምህሬ ግን የተቀየሙት በተማሪው አልነበረም። «አንተ ቀድመህ ብታይልኝ ኖሮ በጓዳ እናርመው ነበር» አሉኝ። አዝኜባቸው ነበር፤ አሁን ሳስበው እውነት አላቸው።

ሥርዓቱን ከባዶ መፍጠር አይጠበቅብሽም። እ.ኤ.አ. በ1997 እንግሊዝ አገር ጥቂት የሕክምና ጆርናል አርታኢዎች «እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥምህ ምን ታደርጋለህ?» እየተባባሉ መማከር ጀመሩ። ዛሬ በአህጽሮት «ኮፕ» እየተባለ የሚጠራው የኅትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴ የተወለደው ከዚያ ነው። የተጠረጠረ ግልበጣ፣ የተፈበረከ መረጃ፣ የደራሲዎች የስም ጠብ ሲመጣ «እንዲህ ከሆነ ወደዚህ፣ ካልሆነ ወደዚያ» እያለ እጅ ይዞ የሚመራ ሠንጠረዥ አዘጋጅተዋል፤ በነፃ ይገኛል። አትመሽ ግድግዳሽ ላይ ለጥፊው። አንድ ሰው ቢሮሽ ገብቶ ሲቆጣ አንቺ ዝም ብለሽ ወደ ግድግዳው መጠቆም ትችያለሽ።

አሁን ወደ ዲኑ። ዲን ኮሌጃቸው በሚያሳትመው ጆርናል ላይ መጻፍ አይከለከሉም። የሚከለከለው የራሳቸውን ጽሑፍ ጉዞ መንካት ነው። አንቺም አትነኪውም፤ አለቃሽም አማካሪሽም ነበሩና ሁለት እጥፍ የጥቅም ግጭት አለብሽ። ጽሑፉ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ለመጣ የቦርድ አባል ይተላለፋል፤ ገምጋሚዎችን እርሱ ይመርጣል፤ ውሳኔውን እርሱ ይሰጣል፤ ከታተመም «ደራሲው የተቋሙ ዲን ናቸው፤ በግምገማው አልተሳተፉም» የሚል አንድ መስመር ከሥሩ ይሰፍራል። ገምጋሚዎቹ ጅማ፣ ሐዋሳ ወይም ጎንደር ያሉ ቢሆኑ ይሻላል። ስም ደብቆ ማስገምገም የሚባለው ነገር በአንድ ከተማ ውስጥ ብዙም አይሠራም። ኮምቦልቻ ላይ በአንድ ርእስ የሚሠሩት ሦስት ሰዎች ከሆኑ የማን ጽሑፍ እንደሆነ ከመጀመሪያው አንቀጽ ይታወቃል።

አራተኛውን ስም በተመለከተ ማንንም መክሰስ የለብሽም። የሕክምና ጆርናል አርታኢዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ቫንኩቨር ላይ ተገናኝተው የጀመሩት ስብስብ ደራሲ ማን እንደሆነ በአራት መስፈርት ወስኖታል። ጥናቱን በማቀድ፣ መረጃውን በመሰብሰብ ወይም በመተንተን ትርጉም ያለው ድርሻ ሊኖረው ይገባል። ጽሑፉን መጻፍ ወይም በቁም ነገር ማረም አለበት። የመጨረሻውን ቅጂ አይቶ ማጽደቅ አለበት። ስለ ሥራው ሲጠየቅ መልስ ለመስጠት ኃላፊነት መውሰድ አለበት። አራቱም በአንድ ላይ። ስለዚህ ለሁሉም ደራሲ፣ ለዲኑም ለማንም፣ «በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሠራሁት ይህን ነው» የሚል ቅጽ አዘጋጂና እያንዳንዱ በየራሱ እጅ ይሙላ። ኃላፊው ባዶ ሳጥን ፊት ሲቀመጡ ምናልባት ራሳቸው «እኔን ወደ ምስጋናው አውርዱኝ» ይላሉ። ሲሉ አይቻለሁ።

የሚገርመው በስጦታ የገባው ስም ሳይሆን የወጣው ስም ነው። ተሁለደሬና ኩታበር ቤት ለቤት እየዞረች መጠይቅ ያስሞላችው ልጅ ስሟ የት ሄደ? መረጃ መሰብሰብ ብቻውን ደራሲ አያደርግም፤ ነገር ግን በመጻፉ እንድትሳተፍ ዕድል ሳይሰጧት በመስፈርቱ አሳብቦ ማስወጣትም ጨዋታ ነው። የተማሪን መመረቂያ ጽሑፍ አማካሪው ብቻውን በስሙ ሲያሳትመውም እንዲሁ። በምርምር ዓለማችን ውስጥ በጣም የተለመደውና በጣም ዝም የተባለው በደል ይህ ይመስለኛል።

ስለ ግልበጣ። ዋድላ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ስሙ የሚነሣ የቅኔ ቤት ነው። እዚያ ተማሪ አዲስ ቅኔ ከራሱ ሲያፈልቅ «ዘረፈ» ይባላል፤ ምስጋና ነው። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያሰማ ግን መምህሩም ጓደኞቹም ያውቁበታልና መግቢያ ያጣል። እኛ ዘረፋውን ቃል በቃል ወሰድነው። የመመሳሰል መለኪያ ሶፍትዌር ይረዳሻል፤ አትመኚው እንጂ። 20 በመቶ አለ ማለት ሌብነት አለ ማለት አይደለም፤ የአሠራር ዘዴው ክፍልና የማጣቀሻ ዝርዝሩ ብቻ ቁጥሩን ያንሩታል። 5 በመቶ ሲልም ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በአማርኛ የተጻፈ መመረቂያ ጽሑፍ ተተርጉሞ በእንግሊዝኛ ቢመጣልሽ መሣሪያው በአብዛኛው አያየውም፤ የሚያየው የመስኩ ሰው ነው። በየዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ «የመመረቂያ ጽሑፍ እናግዛለን» የሚሉትን ማስታወቂያዎች አይተሻል፤ ምን እንደሚያግዙ አንቺም እኔም እናውቃለን። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ነገርም ተጨምሯል። የኮፕ አቋም ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግልጽ ነው፦ ማሽን ኃላፊነት መውሰድ ስለማይችል ደራሲ ተብሎ አይሰፍርም፤ የተጠቀመበት ሰው ለምን እንደተጠቀመበት ይናገራል፤ ለስሕተቱም ተጠያቂው እርሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ከየትኛውም መመሪያ አታገኚውም፤ ወሎ ውስጥ ስለሆንሽ ይገጥምሻል። ገምጋሚው «ጥሬ መረጃውን አሳዩን» ይላል፤ ደራሲው «በጦርነቱ ጠፋ» ብሎ ይመልሳል። በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ምን እንደደረሰባቸው ለአንቺ አልነግርሽም፤ ኮምፒውተሩ የተወሰደ፣ የታካሚ ካርዱ የተበተነ ብዙ ነው። ስለዚህ «ዋሸህ» ብለሽ አትጀምሪ። ሁሉንም አምነሽም አትለፊ፤ እውነተኛ ጥፋት ለሐሰተኛው ጥሩ መጋረጃ ይሆናል። ከከተማው ውጭ ሊተርፍ የሚችለውን ጠይቂ፦ የሥነ ምግባር ቦርዱ የፈቃድ ደብዳቤ፣ ለሌላ ከተማ ተባባሪ ደራሲ በኢሜይል የተላከ ፋይል፣ የመረጃ ሰብሳቢዎች ስምና የአበል መክፈያ ሰነድ። አበል ያለ ፊርማ አይከፈልም፤ ፊርማ ደግሞ አንዳንዴ ከመጠይቁ የበለጠ ዕድሜ አለው። አንዱ እንኳ ከተገኘ ጽሑፉ መረጃው መጥፋቱን በግልጽ ተናግሮ ለግምገማ ሊቀርብ ይችላል። ምንም ከሌለ አይታተም፤ ለደራሲውም በአክብሮት ይጻፍለት።

ይህ ጥንቃቄ የተጋነነ ከመሰለሽ ትልልቆቹ ምን እንደሆኑ አስታውሺ። «ዘ ላንሴት» እ.ኤ.አ. በ1998 በ12 ሕፃናት ላይ ተመሥርቶ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘ ጽሑፍ አወጣ። ዋናው ደራሲ የክትባት አምራቾችን ከሚከስሱ ጠበቆች ገንዘብ መቀበሉን አልተናገረም ነበር። ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ የተሻረው በ2010 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት! አንቺ የጤና ባለሙያ ነሽ፤ ልጇን ማስከተብ ከፈራች እናት ጋር ተቀምጦ መከራከር ምን እንደሚመስል ታውቂዋለሽ። ያው ጆርናል እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 መጨረሻ ስለ ኮቪድ መድኃኒት ከ96 ሺህ በላይ ታካሚዎችን አጠናሁ የሚል ጽሑፍ አወጣ፤ ደራሲዎቹ ራሳቸው ጥሬ መረጃውን ማረጋገጥ ስላልቻሉ በ13 ቀን ውስጥ ተሻረ። ሁለቱን ሳወዳድር የማየው ስሕተት መኖሩን ብቻ አይደለም፤ ለማረም የፈጀውን ጊዜ ነው። ስለዚህ ደንባችሁ ውስጥ ጽሑፍ እንዴት እንደሚታረምና እንደሚሻር ከመጀመሪያው እትም በፊት ይጻፍ።

ስለ ነጣቂ ጆርናሎች፣ ማለትም ገንዘብ ተቀብለው ያለ በቂ ግምገማ ስለሚያትሙት፣ ብዙ አልልም፤ ኢሜይልሽ ውስጥ «የተከበሩ ፕሮፌሰር» እያሉ የሌለሽን ማዕረግ የሚሰጡሽ እነርሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ ጋዜጠኛ ሆን ብሎ በስሕተት የሞላውን የፈጠራ ጥናት ለ304 ጆርናሎች ልኮ 157ቱ ተቀብለውታል። የእናንተ ጆርናል ለእድገት የሚጣደፉ ባልደረቦች ማለፊያ ከሆነ ከእነዚያ የሚለየው ገንዘብ አለመቀበሉ ብቻ ይሆናል።

ስለ ጥቅሙ ጠይቀሻል። የተለየ ደመወዝ አትጠብቂ፤ በምትኩ የማስተማሪያ ጭነት ቅነሳ ጠይቂ፣ በቁጥር። ሥራውን ለመምራት ኦፕን ጆርናል ሲስተምስ የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር ልመጂ፤ ጽሑፍ መቼ እንደገባ፣ ማን እንዳየው፣ ማን እንደወሰነ በቀን ይመዘግባል። የመጠባበቂያ ቅጂው ከደሴ ውጭ ይቀመጥ፤ ምክንያቱን ከላይ ነግሬሻለሁ። በጎን ለነባር ጆርናሎች በገምጋሚነት ራስሽን አስመዝግቢ፤ የኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የኖረ ነው፤ ከእንዲህ ያለ ቤት የሚመጣ አንድ የግምገማ ደብዳቤ ማንበብ ከሁለት ቀን ሥልጠና ይበልጣል። ሁለት ዓመት በሥርዓት ከሠራሽ ለምርምር ጽሕፈት ቤት፣ ለሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርድ፣ ለሦስተኛ ዲግሪ ማመልከቻም የሚናገር ልምድ ይኖርሻል። ያለ ሥርዓት ከሠራሽ ግን ስምሽ በእትሙ የውስጥ ሽፋን ላይ ይቀራል፤ የዚያ እትም ስም ሲጠፋ የአንቺም አብሮ ይጠፋል።

ከመፈረምሽ በፊት የሹመት ደብዳቤው ላይ የሥራ ዘመንሽ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ፣ ጽሑፍ ይታተም አይታተም የሚወስነው ዋና አርታኢው እንጂ ዲኑ አለመሆናቸው፣ አንቺን ማንሣት የሚችለውም ማን እንደሆነ ተጽፎ እዪ። ለጋሼም በቃል ሳይሆን በወረቀት እንዲህ ብትዪ ይበቃል፦

«ጋሼ፣ ስላመኑብኝ አመሰግናለሁ። ጽሑፍዎ በመጀመሪያው እትም ውስጥ ካለ የሚያነበው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው እንዴት እንደገባ ነው። ስለዚህ እኔም እርስዎም ሳንነካው ከሌላ ዩኒቨርሲቲ በመጣ የቦርድ አባል እንዲታይ፣ ደራሲዎቹም ሁሉ የድርሻ መግለጫ ቅጽ እንዲሞሉ እጠይቃለሁ። ቦርዱ ይህን የአሠራር ደንብ ካጸደቀ ሥራውን በደስታ እጀምራለሁ።»

እሺ ካሉ በማግሥቱ ፈርሚ። «ለዚህ እትም ብቻ እንለፈው» ካሉ ደግሞ የማስተማር ሥራሽ አለ፤ አመስግነሽ ደብዳቤውን መልሺላቸው፤ ለቅሶም ሠርግም ላይ እንደ በፊቱ ትገናኛላችሁ።