አሮጌው ፒካፕ ቁልቢ ያደርሰናል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው አዳማ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1991 ስሪት የሆነ ባለ ሁለት ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ ፒካፕ አለኝ፤ ሞተሩ 2.4 ሊትር ናፍጣ ነው። ላለፉት አራት ዓመታት ከከተማ ሳይወጣ ከገበያ ወደ መጋዘን እህል ሲያመላልስ ቆይቷል። እናቴ የቁልቢ ገብርኤል ስለት ስላለባት ለታኅሣሥ 19 እሷን፣ ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ለመሄድ አስቤያለሁ። መኪናው ጠዋት በደህና ይነሣል፣ ጭስም አያበዛም፤ ነገር ግን ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ የሙቀት ጌጁ ከግማሽ ያልፋል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ከቆመ ሦስት ዓመት ሆኖታል። መካኒኬ «ቴርሞስታቱን አውጥተን እንጣለው፣ ከዚያ በኋላ አይሞቅም» ይለኛል። ለጉዞው ስድስት ሳምንት ያህል ቀርቶኛል፤ ገንዘቤም ውስን ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ መኪናዎ ያደርሳችኋል፤ ዛሬ ባለበት ሁኔታ ግን አይደለም። ገንዘብዎ ውስን ከሆነ ቀለሙን፣ የወንበር ልብሱንና ቴፑን ለጊዜው ይተዉና ያለዎትን በቅድሚያ ለውሃው፣ ለፍሬኑና የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ ለሚያገጣጥመው ታይሚንግ ቺንጋ ያውሉት። የቀረዎት ስድስት ሳምንት ከገንዘቡ የሚበልጥ ሀብት ነው፤ ምክንያቱም በአሮጌ መኪና ላይ የተገጠመ አዲስ ዕቃ ሞቆና ቀዝቅዞ፣ ተንቀጥቅጦና ጭነት ተሸክሞ እስካልተፈተነ ድረስ ሥራው አልቋል ማለት አይቻልም። ስለዚህ የጋራዡን ሥራ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት አስጨርሰው የቀሩትን ሦስት ሳምንታት ለሙከራ ይተዉ።

መንገዱን ያስቡት። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መተሐራ ሲደርሱ ከ1,000 ሜትር በታች ወርደዋል። ከዚያ አዋሽን አልፈው እስከ ሚኤሶ ድረስ የሚጓዙት በሐሩር ውስጥ ነው። ሞተሩ በዚህ ሁሉ ሙቀት ከቆየ በኋላ ወደ አሰበ ተፈሪና ሂርና የሚያወጣው ዳገት ይጠብቀዋል፤ ቁልቢም ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። በአዳማ ከተማ ውስጥ ከግማሽ የሚያልፍ ጌጅ በዚያ ዳገት ላይ የት እንደሚደርስ መገመት አያስቸግርም።

የመካኒክዎን ምክር አይቀበሉ። ቴርሞስታት የሚባለው ትንሽ በር ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ይዘጋል፤ ውሃው አብዛኛውን ጊዜ ሰማንያዎቹ ዲግሪ ውስጥ ሲገባ ይከፈትና ወደ ራዲያተር ያሳልፋል። በብዙ ሞተሮች ላይ ይኸው በር ሲከፈት ሌላውን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል። አውጥተው ከጣሉት አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ከውሃው ከፊሉም ራዲያተሩን ሳይጎበኝ ወደ ሞተሩ ይመለሳልና ዳገት ላይ ሙቀቱ ሊብስ ይችላል። የእርስዎን ቴርሞስታት እቤትዎ መፈተን ይችላሉ። በድስት ውሃ ውስጥ በክር አንጠልጥለው፣ የድስቱን ቂጥ ሳይነካ እሳት ላይ ይጣዱት። ውሃው መፍላት ሳይጀምር ቀስ እያለ አፉን ከከፈተና ሲቀዘቅዝ ጥርቅም ብሎ ከተዘጋ ደህና ነው፤ ውሃው እየተንፈቀፈቀ እንኳ ካልተከፈተ ወይም በግማሽ ከቀረ በአዲስ ይተኩት።

ከቴርሞስታቱ በፊት ግን የራዲያተሩን ክዳን ይመልከቱ፤ ብዙ ሰው የሚንቀው እሱን ነው። ውሃ በየ300 ሜትሩ ከፍታ በ1 ዲግሪ ገደማ ቀድሞ ይፈላል፤ በ2,400 ሜትር ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል ማለት ነው። መኪና ዳገት ላይ የማይፈላው የክዳኑ ስፕሪንግ ውሃውን አፍኖ ግፊት ስለሚፈጥርለትና የመፍያውን ነጥብ ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ስለሚያደርግለት ነው። ስፕሪንጉ የደከመ ወይም ላስቲኩ የተሰነጠቀ ክዳን ይህን ጥበቃ ሁሉ ያሳጣዋል። ዋጋው ከሌላው ዕቃ ሁሉ የሚያንስ ስለሆነ ሳይጠራጠሩ በአዲስ ይለውጡት፤ ክዳኑ ላይ የተጻፈው የግፊት ቁጥር ግን ከቀድሞው ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ።

ቀጥሎ ራዲያተሩ ወርዶ ውስጡ ይታጠብ፤ በክንፎቹ መካከል የተጠቀጠቀው አቧራና የእህል ገለባም ከኋላ ወደ ፊት በሚነፋ አየር ይውጣ። ለእርስዎ መኪና ይህ በተለይ ትኩረት የሚሻ ነገር ነው፤ አራት ዓመት እህል አመላልሷልና። ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ቬንትሌተሩን (ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘውን ማራገቢያ) በእጅዎ ያዙሩት፤ እንደ ነፋስ መዘውር በነፃ የሚሽከረከር ከሆነ መሐሉ ላይ ያለው የሲሊኮን ዘይት አልቋል፣ አየርም በሚገባ አይስብም። በመጨረሻም ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ከፍተው ያስነሡት። ውሃው ውስጥ ሳያቋርጥ አረፋ የሚወጣ ከሆነ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ተቃጥሏል ወይም ቴስታታው ራሱ ተሰንጥቋል ማለት ሊሆን ስለሚችል፣ ያ ሳይጣራ ጉዞውን ማሰብ አይገባም።

ይህን ሁሉ የማበዛው ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በራሴ አሮጌ ፒካፕ በዚሁ መንገድ ወደ ድሬዳዋ ስሄድ፣ የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ ያስቀየርኩት በዋዜማው ማታ ነበር። አዲስ ቱቦ ሲሞቅ ስለሚለሰልስ ማሰሪያው ይላላል፤ አንድ ጊዜ ሞቆ ከበረደ በኋላ እንደገና ሊጠብቅ ይገባው ነበር፤ ለዚያ የሚሆን ቀን ግን አልተውኩለትም። ከአዋሽ ከተማ ትንሽ እንዳለፍን ጌጁ ከፍ ማለት ጀመረና ወዲያው ወርዶ ታች ተኛ። በረደ ብዬ መንዳቴን ቀጠልኩ። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነበር፤ ሙቀት ለኪው በትክክል የሚለካው ውሃ ውስጥ እስከተነከረ ድረስ ብቻ ነው፤ ውሃው ፈስሶ ሲያልቅ የሚለካው አጥቶ ወደቀ። ኮፈኑን ስከፍት ቱቦው ከአፉ ወልቆ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ቴስታታውንም ያኔ አጣሁት። ስለዚህ ጌጁ ከፍ ብሎ ድንገት ከወደቀ በዚያችው ቅጽበት ዳር ይዘው ሞተሩን ያጥፉ። ትኩስ ክዳን አይክፈቱ፤ በጋለ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አይጨምሩ፤ ብረቱ የሚሰነጠቀው እንዲያ ሲደረግ ነው።

ወደ ታይሚንግ ቺንጋው ልምጣ። የዚህ ሞተር ታይሚንግ በሰንሰለት ሳይሆን በላስቲክ ቺንጋ የሚሠራ ሲሆን፣ ቶዮታ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ እንዲቀየር ያዛል። ዳሽቦርዱ ላይ ለዚሁ የተሠራች የማስጠንቀቂያ መብራት ልትኖር ትችላለች፤ መብራቷ ግን የምትበራው ኪሎ ሜትር ቆጥራ እንጂ ቺንጋውን አይታ አይደለም። የእርስዎ ቆጣሪ ከቆመ ሦስት ዓመት ስለሆነው መብራቷ አለመብራቷ ምንም አያረጋግጥልዎትም። ቺንጋው ሲበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ይጋጫሉ፤ ሞተሩም በመንገድ ዳር ጥገና አይነሣም። መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለዎት እንዳልተቀየረ ይቁጠሩት፤ ሲያስቀይሩም መወጠሪያውን ኩሽኔታ (ቤሪንግ) አብረው ያስቀይሩ። ቆጣሪውን አሠርተው የተቀየረበትን ቀን በወረቀት ጽፈው ኮፈኑ ሥር ይለጥፉ።

ፍሬን ላይ ሸራው ቢለወጥም ዘይቱ ብዙ ጊዜ ይረሳል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲቆይ የሚጠበቅበት ሲሆን፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ የሚጠበቅበት ዝቅተኛ መጠን 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ረዥም ቁልቁለት ላይ ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ያለ ተቃውሞ ወለል ድረስ ይወርዳል። ከቁልቢ ሲመለሱ ወደ ሚኤሶ የሚወርደው ቁልቁለት፣ ድሬዳዋ ለመግባት ካሰቡም ደንገጎ፣ ይህን የሚፈትኑ ቦታዎች ናቸው። አሮጌው ዘይት ተነፍቶ ይውጣና ሙሉ በሙሉ በአዲስ ይተካ፤ ቁልቁለቱንም ሲወጡት በተጠቀሙበት ማርሽ ይውረዱት።

ጎማ ላይ ጥርሱን ብቻ አይዩ። በጎኑ ላይ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አለ፤ 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። ዐሥር ዓመት የሞላው ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ለሐሩር መንገድ አይታመንም፤ ተጠባባቂው ጎማ ብዙውን ጊዜ ከሁሉም ያረጀው ነው። ነፋሱን ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ያስለኩ። የጎማ ኩሽኔታው በግራሶ ይታሸ፣ የናፍጣ ፊልትሮው ይለወጥ፣ ከሥሩ የተጠራቀመው ውሃም ይፍሰስ።

አሁን ሙከራው። አዳማ ለሚኖር ሰው ከአሰላ የተሻለ መፈተኛ የለም። 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ከ1,600 ሜትር ወደ 2,400 ሜትር አካባቢ ስለሚያወጣ፣ የቁልቢን ዳገት ያህል ሞተሩን ያደክማል፤ ቢበላሽም ቤትዎ ቅርብ ነው። ቤተሰብዎ የሚያክል ክብደት ጭነው በቀትር ይውጡ፤ ኢተያን አልፈው ጌጁን በዓይንዎ ይከታተሉ። አሰላ ሲደርሱ ከሥር የሚንጠባጠብ ነገር እንዳለ ይዩ፤ እያንዳንዱን የጎማ ሞዞ (ጎማው የሚታሰርበትን መሐል) በመዳፍዎ ይንኩ፤ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚያቃጥል ካለ ፍሬኑ ይዟል ወይም ኩሽኔታው ደክሟል። ተመልሰው ሲያድሩ ጠዋት የውሃውን መጠን ይለኩና የቱቦ ማሰሪያዎቹንና የጎማ ዳዶዎቹን እንደገና ያጥብቁ። ይህን ጉዞ ሁለት ጊዜ ያድርጉት።

ለቁልቢ ስለሚሄዱ ጎረቤትና ዘመድ «ከኋላ እንሳፈር» ሊሉዎ ይችላሉ። እምቢ ማለት ቢከብድም እምቢ ይበሉ፤ የዕቃ መጫኛው ሰው የሚይዝበት ነገር የለውም። ጎሕ ሲቀድ ይነሡ፤ በመተሐራና በሚኤሶ መካከል ግመልና ከብት አስፋልቱን ስለሚያቋርጡ በጨለማ አይንዱ። 20 ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ተጨማሪ የቬንትሌተር ቺንጋ፣ የላይኛውና የታችኛው ቱቦ፣ ክሪክና የጎማ መፍቻ አይለዩዎት።

ጥያቄ፦ እኔም አዳማ ነኝ፤ ከመቂ ሽንኩርት ጭኜ ወደ ድሬዳዋ በአሮጌ ሃይሉክስ እመላለሳለሁ። የኋላው ባሌስትራ (ጭነት የሚሸከመው ባለ ብረት ቅጠል ስፕሪንግ) ስለወረደ አንድ ቅጠል አስጨመርኩ፤ ጀርባው ተስተካከለ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ጭኜ ስይዝ ፍሬኑ ከበፊቱ የደከመ መሰለኝ። ግንኙነት ይኖረዋል?

መልስ፦ እኅታችን፣ ይኖረዋል፤ ልብ ማለትዎ በጣም ጥሩ ነው። በብዙ ሃይሉክስ ፒካፖች ላይ ሻንሲውን ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የሚያያይዝ የፍሬን ቫልቭ አለ። ጭነት ሲበዛ ሻንሲው ወደ አክስሉ ይቀርባል፤ ቫልቩም ይህን አይቶ ለኋላ ጎማዎች ተጨማሪ የፍሬን ግፊት ይለቃል። ቅጠል ሲጨመር ጀርባው ጭነት ይዞ እንኳ ከፍ ብሎ ስለሚቀር ቫልቩ መኪናው ባዶ ነው ብሎ ያምናል፤ የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል፤ ሸክሙም ሁሉ የፊት ፍሬን ላይ ያርፋል። ሥራውን የሚያውቅ የፍሬን ባለሙያ የዘንጉን ርዝመት ከአዲሱ ከፍታ ጋር ያስተካክልልዎ። ዘንጉ ተፈትቶ በሽቦ ታስሮ ካገኙት፣ ይህም በአሮጌ መኪና ላይ ያጋጥማል፣ በቦታው ሳይመለስ የሚቀጥለውን ሽንኩርት አይጫኑ።