የመዋጥ ችግር ላለባቸው አረጋውያን ምግብ ሁሉ መፈጨት አለበት?

ጥያቄ፦ እናቴ ስትሮክ ከመታት በኋላ የምትኖረው በአረጋውያን መንከባከቢያ ማዕከል ነው። ምግብ ደጋግሞ ትን ስላላት ሠራተኞቹ የሚያቀርቡላትን ሁሉ ፈጭተው፣ ውሃውንም በማወፈሪያ ዱቄት አወፍረው መስጠት ጀምረዋል። ትንታው ቀንሶላታል፤ ነገር ግን ሳህኑን ትገፋለች፣ ውሃም በቅጡ አትጠጣም፣ ከስታለችም። ጠንከር ያለ ምግብ እንዲሰጧት ብጠይቅ ለአደጋ አጋልጣታለሁ?

መልስ፦ መጠየቅ ይገባዎታል፤ ነገር ግን የምግቡ ዓይነት እንዲለወጥ ከመጠየቅዎ በፊት የእናትዎ የመዋጥ አቅም በንግግርና የመዋጥ ሕክምና ባለሙያ እንዲመረመር ይጠይቁ። ለአንድ ሰው የሚስማማው የምግብ ልስላሴ የሚታወቀው ሰውየው እንዴት እንደሚያኝክ፣ ያኘከውን በምላሱ እንዴት እንደሚሰበስብና ከዚያም መዋጥ የሚጀምረው በጊዜው መሆን አለመሆኑ ከታየ በኋላ ነው። ችግሩ የጥርስና የማኘክ ከሆነ ምግቡ መላም ሲኖርበት ውሃው ግን መወፈር ላያስፈልገው ይችላል። በአንጻሩ መዋጥ የሚዘገይባቸው ሰዎች ቶሎ የሚወርደው ቀጭን ፈሳሽ ወደ አየር ቧንቧ እየገባ ሲያስቸግራቸው፣ ለስላሳ ምግብን ግን ያለ ችግር ሊበሉ ይችላሉ። ስለዚህ የምግቡና የመጠጡ ውሳኔ ለየብቻ መታየት አለበት፤ ሁለቱን በአንድ ትእዛዝ ማጥበቅ ጥንቃቄ ቢመስልም ሰውን ያለ ምክንያት ሊያስርብና ሊያስጠማ ይችላል።

ትንታው መቀነሱ ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ከስትሮክ በኋላ የጉሮሮ ስሜት ሊደነዝዝ ስለሚችል ምግብ ወይም ምራቅ ያለ ምንም ሳል ወደ ሳንባ የሚገባበት ጊዜ አለ። ከጠጡ በኋላ ድምፃቸው ውሃ የቋጠረ የሚመስል ከሆነ፣ ምግብ በጉንጫቸው ውስጥ የሚቀር ከሆነ፣ ትኩሳት ወይም የሳንባ ምች የሚመላለስባቸው ከሆነ ለባለሙያው ይንገሩ። ባለሙያው አስፈላጊ ሆኖ ካገኘው በኤክስሬይ እየታየ ወይም በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን ካሜራ የሚደረግ የመዋጥ ምርመራ ያዝዛል። ከስትሮክ በኋላ የመዋጥ አቅም በብዙ ሰዎች ላይ በሳምንታትና በወራት ውስጥ እየተሻሻለ ስለሚሄድ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተሰጠ ትእዛዝ ሳይመረመር ለዓመት መቆየት የለበትም።

የክብደታቸው መቀነስ በግልጽ ሊነሳ የሚገባው ጉዳይ ነው። ምግብ በውሃ ሲፈጭ መጠኑ ይበዛል እንጂ የሚሰጠው ጉልበት ይሳሳል፤ በወተት፣ በሥጋ መረቅ ወይም በቅቤ ቢፈጭ ግን እናትዎ በጥቂት ማንኪያ ብዙ ያገኛሉ። ሥጋው፣ አትክልቱና ድንቹ ተቀላቅለው አንድ መልክ ሆነው ከቀረቡ የሚበላው ነገር ምን እንደሆነ አይለይምና ለየብቻ እንዲፈጩ ይጠይቁ። የወፈረ ውሃ ብዙዎች ስለማይወዱት የሚጠጡት መጠን ይቀንሳል፤ ማወፈሪያው ያስፈልጋል ከተባለም በምርመራ የተመረጠው ዝቅተኛው ውፍረት ይሁን። ማክሮጎል የተባለው የሆድ ድርቀት መድኃኒት ከስታርች በተሠራ ማወፈሪያ ሲቀላቀል ድብልቁ ስለሚቀጥን፣ የሚወስዱ ከሆነ ፋርማሲስት ያማክሩ።

ምርመራው እስኪደረግ ድረስ ጠንከር ያለ ምግብ በራስዎ ውሳኔ አያቅርቡላቸው። ሲመገቡ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፤ ከበሉ በኋላም ለ30 ደቂቃ ያህል አይተኙ። አፋቸውና ጥርሳቸው በየቀኑ ይጽዳ፤ ወደ ሳንባ የሚገባው ምራቅ የሚጎዳው በአብዛኛው በሚሸከመው ባክቴሪያ ነውና። እናትዎ ማሰብና መወሰን የሚችሉ ከሆነም የእሳቸው ፈቃድ ከሁላችንም ሐሳብ ይቀድማል። አደጋውን አውቀው የሚወዱትን ምግብ መብላት ከመረጡ፣ ሐኪሙና ማዕከሉ አደጋው እንዴት እንደሚቀነስ አብረዋቸው ሊያቅዱ ይገባል።

ጥያቄ፦ በአረጋውያን ማዕከል ወጥ ቤት እሠራለሁ። የሚደርሰኝ ትእዛዝ «ለስላሳ ምግብ» የሚል ብቻ ስለሆነ አንዷ ነርስ የተቀበለችውን ሌላዋ ትመልሰዋለች። ልኩ እንዴት ይታወቃል?

መልስ፦ ትእዛዙ በደረጃ ቁጥር እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ። በብዙ አገሮች የሚሠራበት አይዲዲኤስአይ የተባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ ከ0 እስከ 7 ስምንት ደረጃዎች አሉት፤ መጠጦች ከ0 እስከ 4፣ ምግቦች ደግሞ ከ3 እስከ 7 ይመደባሉ። ደረጃ 4 ማኘክ የማያስፈልገው ልሙጥ ምግብ ነው፤ በማንኪያ ላይ ቅርጹን ይዞ ይቆያል፣ ማንኪያው ሲዘነብል ግን ሳይጣበቅ ይወርዳል። ደረጃ 5 ርጥብና የደቀቀ ሲሆን ለአዋቂዎች የቁርጥራጩ ስፋት ከ4 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ይህም በተለመደው ሹካ ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት ያህል ነው። ደረጃ 6 ከ1.5 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ቁራጭ ነው፤ የአውራ ጣትዎ ጥፍር እስኪነጣ ድረስ በሹካ ሲጫኑት ይደቅቃል፣ ሹካው ሲነሳም ወደ ቀድሞ ቅርጹ አይመለስም።

ለመጠጥ የ0 እና የ10 ሚሊ ሊትር ምልክቶቹ 61.5 ሚሊ ሜትር የሚራራቁ ስሪንጅ ይጠቀሙ። እስከ 10 ሚሊ ሊትር ሞልተው ለ10 ሴኮንድ ካፈሰሱ በኋላ የቀረው ከ1 እስከ 4 ሚሊ ሊትር ከሆነ ደረጃ 1፣ ከ4 እስከ 8 ከሆነ ደረጃ 2፣ ከ8 በላይ ሆኖ ጥቂትም ቢሆን ከወረደ ደረጃ 3 ነው። አይስክሬምና ጄላቲን አፍ ውስጥ ቀልጠው ቀጭን ፈሳሽ ይሆናሉ፤ ቁርጥራጭ ያለበት ቀጭን ሾርባም ፈሳሽና ጠጣር በአንድ ጉርሻ ስለሚያስገባ ለብዙዎቹ ከባድ ነው። ፍተሻውን ምግቡ ሲቀርብና በሚበላበት ሙቀት ላይ እያለ ያድርጉት፤ ተፈጭቶ የቆየ ምግብ ሲቀዘቅዝ ይጠጥራል፣ በስታርች የወፈረ መጠጥም ሲቆይ ውፍረቱ ይለወጣል።