«ቪሪዲያና»ን ከማሳየታችሁ በፊት

ጥያቄ፦ እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ጊዮርጊስ አካባቢ ተሰብስበን ቆየት ያሉ ፊልሞችን እናያለን። ለሚቀጥለው ሳምንት የስፔናዊው ዳይሬክተር የሉዊስ ቡኙኤል «ቪሪዲያና» ተመርጦ ነበር፤ ሁለት አባላት ግን «ሃይማኖት የሚሰድብ ፊልም ነው» ብለው ተቃወሙ። እውነት ነው? ብናሳየውስ ምን እናዘጋጅ? (አንባቢ፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ አባሎቻችሁ ብቻቸውን አይደሉም። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1961 በካን የፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት፣ የወርቅ ዘንባባውን፣ ከሌላ ፊልም ጋር ተጋርቶ ሲያሸንፍ የቫቲካን ጋዜጣ አወገዘው። የስፔኑ አምባገነን የፍራንኮ መንግሥትም አገደው፤ የስፔን ሕዝብ እስከ 1977 ድረስ አላየውም። እኛ ግን እዩት እንላለን፣ ሕፃናት በሌሉበት።

ታሪኩን አስቀድማችሁ በአማርኛ ንገሩ፤ አለዚያ ሰው እንግሊዝኛውን ጽሑፍ ሲያነብ ምስሉ ያመልጠዋል። ልትመነኩስ ጥቂት የቀራት ቪሪዲያና አጎቷን ልትሰናበት ትሄዳለች። አጎትየው አደንዝዞ ሊደፍራት ይቃጣል፣ ይተወዋል፣ በኋላም ራሱን ይሰቅላል። እሷ ወደ ገዳሙ ሳትመለስ ነዳያንን ሰብስባ እርስቱ ላይ ታኖራለች። አንድ ቀን ባለቤቶቹ ሲወጡ ነዳያኑ ድግስ ደግሰው ቤቱን እንዳልነበር ያደርጉታል።

ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ በዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ መጋረጃ ካልዘጋችሁ የሌሊቱ ትዕይንት ሁሉ ይጠፋል። የትርጉም ጽሑፉንም ቢጫ አድርጉት፤ ነጭ ፊደል ነጩ የገበታ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ አይነበብም።

ውይይቱ የሚበላሸው አንድ ሰው «ታዲያ ለለማኝ አንስጥ ማለት ነው?» ሲል ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንጂ ስለ ፊልሙ የሚያወራ አይገኝም። ስለዚህ ገመዱን ተከተሉ። መጀመሪያ የአጎትየው ቤት ሠራተኛ ልጅ የምትዘልበት፣ እጀታ ያለው መዝለያ ነው። አጎትየው ራሱን የሚሰቅለው በሱ ነው። ልጅቷ እዚያው ዛፍ ሥር መልሳ ትዘልበታለች። ኋላ አንዱ ነዳይ ይታጠቀዋል፤ ቪሪዲያናን ሲታገላት እጇ የሚጨብጠው ያንኑ እጀታ ነው። ማንም ስለ ገመዱ አንድ ቃል አይተነፍስም።

ቀጥሎ ውሻውን አንሱ። የአጎትየው ልጅ ሆርሄ በጋሪ ሥር ታስሮ የሚሮጥ ውሻ አይቶ ያዝናል፤ ከፍሎ ያስፈታዋል። ፊቱን ሲያዞር፣ እሱ ሳያየው፣ ከወዲያ በኩል ሌላ ጋሪ ሌላ ውሻ አስሮ ያልፋል። ከዚህ ብዙዎች «ደግነት ከንቱ ነው» የሚል ትርጉም ያወጣሉ፤ እኛ አንስማማም። ያ አንድ ውሻ ተፈትቷል። ቡኙኤል የሚነክሰው ሰጥቶ ዞር የሚለውን ነው። ቪሪዲያናም እንዲሁ ናት፦ ነዳያኑን ሥራ ታከፋፍላቸዋለች፣ ጸሎት ታስደግማቸዋለች፣ በለምጽ የተጠረጠረውን ሲያገሉት ግን ነገሩ ከአቅሟ በላይ ነው።

የድግሱ ትዕይንት ላይ ፊልሙን አቁሙት። ዐይነ ስውሩ መሃል ተቀምጦ ሁሉም ደርቀው ሲቀሩ የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ «የመጨረሻው እራት» ነው፤ ሥዕሉን አትማችሁ ጎን ለጎን አሳዩ። የተቃወሙትን አባላት መጀመሪያ ማናገር ያለባችሁም እዚህ ነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በሸክላው የሚዘፈነው የሃንደል «ሃሌ ሉያ» ነው።

መጨረሻውን የለወጠው የስፔን ሳንሱር ነው። በመጀመሪያው ጽሑፍ ቪሪዲያና የሆርሄን በር አንኳኩታ ትገባለች፣ በሩ ይዘጋል። ይህ ሲከለከል ቡኙኤል ሠራተኛይቱን ጨምሮ ሦስቱን ለካርታ ጨዋታ አስቀመጣቸው። ከተከለከለው የባሰ ነገር ይጠቁማል፤ ሳንሱሩ ግን አሳለፈው።

ጥያቄ፦ በተመሳሳይ ጉዳይ ከአንድ ሰዓት የማይበልጥ ፊልም አለ? (አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ አለ። የዚያው ሰው «የበረሃው ስምዖን»፣ እ.ኤ.አ. 1965፣ 45 ደቂቃ። ባለታሪኩ ከስንክሳር የምናውቀው ስምዖን ዘዓምድ ነው፤ ሰይጣንን ሆና የምትጫወተው ደግሞ ቪሪዲያናን የሠራችው ሲልቪያ ፒናል ናት። እጆቹ የተቆረጡበትን ሰው ልብ ብላችሁ እዩት። ስምዖን ጸልዮ እጆቹን ይመልስለታል፤ ሰውየው በአዲሱ እጁ መጀመሪያ የሚያደርገው ልጁን መምታት ነው።