እንስሳትን ለመታደግ ባሕር ማዶ? ከደሴና ከኮምቦልቻ የቀረቡ ጥያቄዎች

በትንሽ ቡድን ወደ ውጭ አገር ሄዶ በእንስሳት መጠለያ በበጎ ፈቃድ ስለ መሥራት ከደሴና ከኮምቦልቻ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ኮምቦልቻ የምሠራ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ እንዲህ ባሉ ጉዞዎች ሕንድም ደቡብ አፍሪካም ሄጃለሁ። ማንንም አልመዘግብም፣ ከማንም ኮሚሽን አልቀበልም፤ ስለዚህ ደስ የማይል መልስ ስሰጥ የሚቀርብኝ ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እዚያ ስንሠራ ስንት ይከፈለናል? (ወጣት፣ ደሴ)

መልስ፦ ምንም። ከፋዩ አንተ ነህ። ትኬቱ፣ ቪዛው፣ ምግቡና ማደሪያው ከኪስህ ይወጣል፤ አብዛኞቹ መጠለያዎች ከዚያ በላይ ለመኖና ለመድኃኒት መዋጮ ይጠይቃሉ። ጉልበትንም ገንዘብንም መስጠት ለብዙ ሰው አይዋጥለትም፤ ነገር ግን ለሁለት ሳምንት የመጣ ሰው ሥራውን እስኪለምድ ግማሹ ጊዜ ያልቃል፤ የሚያሳየው ሠራተኛም ከራሱ ሥራ ይስተጓጎላል። ክፍያው ነውር አይደለም። ገንዘቡ የት እንደሚገባ ሲጠየቁ የሚያድበሰብሱ ከሆነ ግን ተዋቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። አንድ ሰው መጥቶ «ዓረብ አገር እንስሳት የሚንከባከብ ድርጅት አለ፣ በበጎ ፈቃድ ትሄዳለች፣ ቪዛውንም ትኬቱንም እኛ እንችላለን፣ ደመወዙ በኋላ ይመጣል» አለን። ልላካት? (አባት፣ ኮምቦልቻ)

መልስ፦ አባቴ፣ አይላኳት። ይህ የምናውቀው ደላላ ነው፤ የለወጠው ስሙን ብቻ ነው። በጎ ፈቃድ ከሆነ ደመወዝ የለም፤ ደመወዝ ካለ ሥራ ነው፣ ሥራ ከሆነ ደግሞ በሕጋዊ የሥራ ስምሪት መንገድ መሄድ አለባት። ሁለቱን የሚያደባልቅ ሰው አንዱን እየዋሸ ነው። ትኬቱን እሱ የሚገዛበትን ምክንያትም ያስቡበት፤ እዳ ያለባት ልጅ ስትከፋ «እመለሳለሁ» ለማለት አቅም አይኖራትም።

እውነተኛው አዘጋጅ ፓስፖርት አይሰበስብም። ገንዘብ የሚቀበለው በድርጅቱ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ እንጂ በግለሰብ ስልክ አይደለም። መመለሻ ትኬት ይጠይቃል፣ የመጠለያውን አድራሻና የኃላፊውን ስም በጽሑፍ ይሰጣል፣ ቀደም ሲል ከሄዱ ሰዎች ጋር ያገናኛል። ሰውየውን እነዚህን ይጠይቁት። ከተቆጣ መልሱን አገኙ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነኝ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እናት የሌላቸው የአንበሳ ደቦሎችን ጡጦ የማጥባት ፕሮግራም አግኝቻለሁ። ፎቶዎቹ ልብ ይነካሉ። ልመዝገብ?

መልስ፦ ፎቶዎቹ የተነሡት ልብ እንዲነኩ ነው። የደቦሎቹ እናት ብዙ ጊዜ ከአጥሩ ወዲያ አለች። በተወለዱ በቀናት ውስጥ ይነጠቁባታል፤ የማታጠባ አንበሳ ወንድ የምትፈልገውም የምታረግዘውም ቶሎ ስለሆነ ደቦል አይቋረጥም። ከዚያ ንግዱ ይጀመራል። በመጀመሪያ በጎ ፈቃደኛ እየከፈለ ጡጦ ያጠባል፤ ቀጥሎ ቱሪስት እየከፈለ አቅፎ ፎቶ ይነሣል፤ ሲጎረምስ ሌላ ቱሪስት ከፍሎ አብሮት በእግሩ ይንሸራሸራል፤ ሲያድግ አዳኝ ከፍሎ በአጥር ውስጥ ይተኩስበታል። አጥንቱም ወደ እስያ ሲሸጥ ኖሯል። የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2021 አንበሳን በአጥር ውስጥ እያራቡ መነገድ እንዲቆም መወሰኑን አስታውቋል። አንተ የምትገባው በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነው፤ በጣም ንጹሕ የሚመስለውም እሱ ነው።

ደቡብ አፍሪካ ሁሉ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። እውነተኛ መጠለያ አያራባም፣ አይሸጥም፣ የዱር እንስሳን ለጎብኚ አያስነካም፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የእንስሳት መጠለያዎች ፌዴሬሽንም ዕውቅና ሲሰጥ የሚያየው እነዚህን ነው። ናይሮቢ የሚገኘውን የሼልድሪክ የዝሆን ግልገሎች ማሳደጊያ ተመልከት። ጠባቂዎቹ ከግልገሎቹ ጋር ያድራሉ፤ ጎብኚ በቀን ለአንድ ሰዓት ያህል ከገመድ ወዲህ ሆኖ ያያል፤ ከውጭ የመጣ በጎ ፈቃደኛ ለሞግዚትነት አይገባም። እናቱን ያጣ ግልገል በየሁለት ሳምንቱ ሞግዚት ቢቀያየርበት ሐዘኑ ይደጋገምበታል።

የሥራ ዝርዝሩን አንብብ። ፋንድያ መጥረግ፣ መኖ መክተፍ፣ አጥር መጠገን፣ ጎድጓዳ ሳህን ማጠብ የሚል ከሆነ ደህና ቦታ አግኝተሃል። እቅፍና ፎቶ የበዛበት ከሆነ እንስሳው የተቀመጠው ለአንተ ነው። ወደ ሩቅ ከመሄድህ በፊት ደግሞ አዲስ አበባ አጠገብ፣ ሆለታ መንገድ ላይ ያለውን የቦርን ፍሪ እንሰሳ ኮቴ ማዕከል ፈቃድ ጠይቀህ ጎብኝ፤ ከሕገ ወጥ ይዞታ የተወሰዱ አንበሶችና አቦ ሸማኔዎች አሉበት። ጥሩ መጠለያ ምን እንደሚመስል እዚያ ዓይንህን ታስለምዳለህ።

ጥያቄ፦ ሕንድ ውሾቹን እያመከኑ መልሰው መንገድ ላይ ይለቋቸዋል አሉ። ታዲያ ምን ዋጋ አለው?

መልስ፦ ብዙ ዋጋ አለው። ውሻ የሚኖረው የሚበላው ቆሻሻ ባለበት ነው። ያሉትን በመርዝ ብትጨርሷቸው ቦታውን ያልተከተቡ የሌላ ሰፈር ውሾች ይይዙታል። የመከኑትና የተከተቡት ሲመለሱ ግን ሰፈራቸውን ይጠብቃሉ፣ አይወልዱም። ከውሾቹ 70 በመቶው ከተከተበ የእብድ ውሻ በሽታ ስርጭት ይቋረጣል። የደሴን ቄራና የገበያ ዳር ውሾች እያሰብኩ ነው እዚያ የሠራሁት።

ጥያቄ፦ ቢነክሱኝስ?

መልስ፦ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ከጉዞው በፊት የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያውን ክትባት ውሰዱ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የሚመክረው ሁለት መርፌ ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በሰባተኛው ቀን። የሚወጋው ክንድ ላይ ነው፤ አያቶቻችን የሚያወሩት የሆድ ላይ መርፌ አይደለም። በየጤና ተቋሙ ላይገኝ ስለሚችል አስቀድማችሁ አፈላልጉ።

ከተነከሳችሁ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ። ቀድሞ የተከተበም ቢሆን ሐኪም ዘንድ ሄዶ ተጨማሪ ሁለት መርፌ ይወስዳል፤ አንዱን በዕለቱ፣ ሌላውን ከሦስት ቀን በኋላ። ያልተከተበ ግን ከተጨማሪ መርፌዎች ሌላ በብዙ አገር የሚቸግር ውድ መድኃኒት ቁስሉ ውስጥ ሊወጋ ይገባዋል። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ጠበሉም ዱዓውም ይቅር አልልም፤ ከሳሙናውና ከክትባቱ በኋላ ይሁን።

የቢጫ ወባ ካርድም አትርሱ። ከኢትዮጵያ የሚመጣን መንገደኛ ሕንድም ታይላንድም ይጠይቁታል። ካርዱ የሚሠራው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ቀኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መጻፉን እዚያው ቆማችሁ አረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ሙስሊም ነኝ፣ ውሻ መንካት ይከብደኛል። ጓደኛዬ ደግሞ ጾመኛ ናት። እንሂድ ወይስ ይቅርብን? (ሁለት ጓደኛሞች፣ ደሴ)

መልስ፦ ሂዱ። የሃይማኖቱን ብያኔ ሸሆቹን ጠይቂ፣ የእኔ ድርሻ አይደለም። በሥራው በኩል ግን ከድመት፣ ከአህያ ወይም ከላም ጋር እንድትመደቢ ከመሄድሽ በፊት በጽሑፍ ጠይቂ፤ ጓንትና የሥራ ልብስ ለማንኛውም ግዴታ ነው። ምግቡ ደግሞ አብሽሩ፤ ብዙዎቹ መጠለያዎች ሥጋም ወተትም በገበታቸው አያቀርቡም። ፈረንጆቹ አይብ አማረን እያሉ ሲያማርሩ ጾመኛዋ ጓደኛሽ ቤቷ ያለች ይመስላታል።

ጥያቄ፦ የባቲ ገበያን አህያ ማን ዞር ብሎ አየውና ነው ባሕር ማዶ የምትልኩን? (ጡረተኛ መምህር፣ ኮምቦልቻ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ልክ ነዎት። በዓለም ብዙ አህያ ያለው እኛ አገር ነው። ሰኞ ባቲ የወጣ ሰው ያያል፤ ከጭነቱ ሥር በቂ መደላድል ስለሌለ ጀርባው የተላጠ፣ ሰኮናው ሳይከረከም ያደገ፣ እግሩ በገመድ የተቆረጠ። ግሪክ እ.ኤ.አ. በ2018 ቱሪስት የሚጭኑ አህዮች ከ100 ኪሎ በላይ እንዳይጫኑ ደንግጋለች። የእኛን ጭነት የሚመዝን የለም። የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 አህያን ለቆዳው ማረድ እንዲታገድ ሲወስን ደስ ብሎኝ ነበር፤ በሕይወት ያለው አህያ ጀርባ ግን በውሳኔ አይድንም።

ስለዚህ ለወጣቶቹ የምለው ይህን ነው፦ መጀመሪያ እዚህ ሥሩ። አህያ ሳያስደነግጥ መያዝ የሚያውቅ የወሎ ልጅ ከለንደን ከመጣው ይልቅ ለመጠለያው ይጠቅማል፣ ማመልከቻውም ክብደት ያገኛል። ሄዶ ቁስል ማጠብና ሰኮና መከርከም በወጉ ተምሮ ከተመለሰ ደግሞ ባቲ አለች። ይህን የማያስብ ከሆነ እርስዎ እንዳሉት የትኬቱን ገንዘብ እዚሁ ቢያወጣው ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሥራ የለኝም፣ አላገባሁም። ቪዛ ይሰጡኛል?

መልስ፦ ይከብዳል። ተመልሰህ እንደምትመጣ የሚያሳይ ነገር ይፈልጋሉ፤ የትምህርት ቤት ወይም የአሠሪ ደብዳቤ፣ የባንክ እንቅስቃሴ፣ የመጠለያው የጥሪ ደብዳቤ። ለአውሮፓ የሸንገን ቪዛ ማመልከቻው ብቻ 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለክሉህም አይመለስም። ኬንያ ለኢትዮጵያዊ ስለሚቀል በእሷ ጀምር፤ ሆኖም የጎብኚ መግቢያ የበጎ ፈቃድ ሥራ እንደማያሠራ አስታውስና ፈቃዱን አዘጋጁ እንዲያወጣልህ ጠይቅ። እዚያው ለመቅረት ካሰብክ ደግሞ ይህን በር ተወው፤ ከኋላህ በሚመጡት ላይ ይዘጋል።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው።

መልስ፦ «ቁም»፣ «በሩን ዝጋ»፣ «ነከሰኝ» ማለት ከቻልሽ ይበቃል። ሌላውን በትንሽ ቡድን ውስጥ ትለምጃለሽ፤ ስምንት ሰው መሀል ዝም ብሎ መክረም አይቻልም።

ጥያቄ፦ ምን እንያዝ?

መልስ፦ ሊጣል የደረሰ ልብስ፣ የላስቲክ ቦቲ፣ የፓስፖርት ፎቶ ኮፒ፣ የራስ መብራት። ወደ አውሮፓ ከሆነ ሥጋና የወተት ውጤት ስለማይገባ የእናታችሁ ቋንጣና ንጥር ቅቤ ቦሌ ሳይደርሱ ይቅሩ። ቦቲውን ስትሄዱም ስትመለሱም በብሩሽና በሳሙና ከሥሩ ጭቃ እስኪጠፋ እጠቡት፤ የከብት በሽታ በጫማ ሥር ድንበር ይሻገራል። የማይጸዳ ከሆነ እዚያው ተዉት።