ማዘጋጃ ቤቱ ደንበኛዬ ነው፤ ለከንቲባነት ልወዳደር?

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁሌም አነባለሁ። ዛሬ ግን የራሴን ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ።

ነጋዴ ነኝ። የውሃ ቧንቧ፣ መገጣጠሚያና ቫልቭ አስመጥቼ አከፋፍላለሁ። ሥራውን የጀመርኩት በአንዲት ጠባብ ክፍል ነው። ዛሬ መጋዘን አለኝ፣ ሠራተኞች አሉኝ፣ ዕዳ የለብኝም። ፖለቲካ ውስጥ ገብቼ አላውቅም። ስብሰባም አልወድም።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት በመጋዘኔ ደጃፍ የሚያልፈው ዋናው የውሃ መስመር ሌሊት ፈነዳ። መንገዱ ወንዝ ሆነ። ማዘጋጃ ቤት ተደወለ፤ «ቡድኑ ሌላ ቦታ ነው» ተባልን። በማግስቱም ውሃው መንገድ ላይ ይፈሳል፣ ሰፈሩ ግን ጠብታ የለውም። በመጨረሻ የውሃ ክፍሉን ኃላፊ በስልክ አስፈቅጄ ከሠራተኞቼ ጋር ወጣሁ። ቆፈርን። የተሰነጠቀውን ቆርጠን አወጣን። ከመጋዘኔ አዲስ ቧንቧና መገጣጠሚያ አምጥተን ገጠምን። ሲመሽ ውሃው መጣ። ለማንም ሒሳብ አልጠየቅኩም።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። የመንገድ መብራት ሲጠፋ ለእኔ ይነገራል። ቆሻሻ ሳይነሳ ሲቀርም እንዲሁ። አሁን ደግሞ ምርጫ እየደረሰ ነው። የተከበሩ የከተማችን ሰዎች ቤቴ ድረስ መጥተው «ድርጅት ያቆመ ሰው ከተማ አያቅተውም፤ ለከንቲባነት ተወዳደር» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ልቤ ተነስቷል። ዕድሜዬ ከሃምሳ አልፏል። ገንዘብ ላይ የነበረኝ ጉጉት ቀንሷል። ለሰው የሚተርፍ ነገር መሥራት እፈልጋለሁ።

ባለቤቴ ግን አልተዋጠላትም። «እስከ ዛሬ ስምህን በክፉ የሚያነሳ የለም። ወንበሩ ላይ በተቀመጥክ በማግስቱ ሌባ ትባላለህ» ትላለች። ታናሽ ወንድሜ በበኩሉ «አንተ ግባ፣ ድርጅቱን እኔ እይዘዋለሁ» ይለኛል። አንድ ነገር ልጨምር፤ ማዘጋጃ ቤቱ ትልቁ ደንበኛዬ ነው። በጨረታ እየተወዳደርኩ ቧንቧ አቀርብለታለሁ። የማሸንፈውም በንጹህ መንገድ፣ ዋጋዬ ዝቅ ያለ ስለሆነ ነው።

በንግድ የተማርኩት እዚያ ይጠቅመኛል? ድርጅቱን ለወንድሜ ባስረክብ ይበቃል? ባለቤቴንስ እንዴት ላሳምናት?

ልቤ የተከፈለብኝ ነጋዴ

የአዘጋጁ መልስ

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ጥያቄ ልነሳ። ባለቤትዎን ለማሳመን አይጣደፉ፤ መጀመሪያ ይስሟቸው። ፍርሃታቸው መሠረት አለው። መሠረቱም እርስዎ «አንድ ነገር ልጨምር» ብለው እግረ መንገድዎን ጣል ያደረጉት ነገር ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ትልቁ ደንበኛዎ ነው። ከደብዳቤዎ ሁሉ የሚከብደው ይኸ ነው።

ድርጅቱን ለወንድምዎ ማስረከብ አይበቃም። ነገሩን እስከ መጨረሻው ያስቡት። ጨረታ ይወጣል። የወንድምዎ ሰነድ ከሌሎቹ ጋር ይገባል። የግዥ ክፍሉ ሠራተኛ ፖስታውን ሲከፍት የማን ድርጅት እንደሆነ ያውቃል። እርስዎ አንዲት ቃል ባይተነፍሱም ያውቃል። ወንድምዎ ካሸነፈ ዋጋው የእውነት ዝቅ ያለ መሆኑን የሚያጣራ አይኖርም፤ «መቼስ የከንቲባው ወንድም ነው» ይባልና ያልቃል። የባሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሌሎቹ አቅራቢዎች ልፋት ነው ብለው የጨረታ ሰነድ መግዛት ይተዋሉ። ተወዳዳሪ ሲጠፋ ዋጋ ይወጣል። ይህን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ማንም ምንም ሳይሰርቅ ከተማው ቧንቧ በውድ መግዛት ይጀምራል።

ስለዚህ ምርጫዎ ሁለት ነው። ወይ ድርጅቱን ይሸጣሉ፣ ወይ ድርጅቱ ከከተማው ሥራ ሙሉ በሙሉ ይወጣል። ሙሉ በሙሉ ስል በቀጥታ ጨረታ ብቻ አይደለም። ማዘጋጃ ቤቱ መስመር እንዲዘረጋለት ኮንትራክተር ቢቀጥር፣ ያ ኮንትራክተር ቧንቧውን ከእርስዎ መጋዘን መግዛት የለበትም። የተጀመረው ውል ይለቅ፣ አዲስ አይፈረም። ሀብትዎን ያስመዝግቡ። ድርጅትዎን የሚነካ ጉዳይ ምክር ቤት ከቀረበ ከአዳራሹ ይውጡ፤ መውጣትዎም በቃለ ጉባኤው ይጻፍ። ይህ ከባድ ነው። ትልቁን ደንበኛ ማጣት ማለት ምናልባት ሠራተኛ መቀነስ ማለት ነው። ያን መሸከም ካልቻሉ አይወዳደሩ። ጥሩ ነጋዴ ሆኖ መቅረት የሚያሳፍር ነገር የለውም።

በዚህ መንገድ ከእርስዎ ቀድመው የሄዱ ሰዎች አሉ። ጆሴፍ ቻምበርሌን በእንግሊዝ በርሚንግሃም ብሎን የሚያመርት ፋብሪካ ሸሪክ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1873 ከንቲባ ሆነ፤ በዓመቱ ከንግዱ ጨርሶ ወጣ። ከዚያ በግል ኩባንያዎች እጅ የነበሩትን ጋዝና ውሃ ከተማው እንዲገዛቸው አደረገ። እኔን የሚገርመኝ ሁለቱን የያዘበት መንገድ ነው። ጋዙን እንደ ነጋዴ ያዘው፤ ትርፉ ለከተማው ልማት ዋለ። ውሃው ግን ለጤና ነው እንጂ ትርፍ ሊወጣበት አይገባም አለ። የት ላይ ነጋዴ መሆን እንዳለበት፣ የት ላይ ደግሞ ነጋዴነቱን መተው እንዳለበት ያውቅ ነበር። ሁሉም ነገር ግን አልሰመረለትም። የተጎሳቆለውን መሃል ከተማ አፍርሶ ሰፊ የንግድ ጎዳና ሲያወጣ፣ ከዚያ ለተነሱት ድሆች የተሠራላቸው ቤት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

አሁን ወደ ፈነዳው ቧንቧዎ እንምጣ። ያን ቀን የሠሩት ሥራ የሚያስመሰግን ነው። ግን ልብ ይበሉ፤ የፈነዳው በእርስዎ መጋዘን ደጃፍ ነበር። የማዘጋጃ ቤቱ ቡድን «ሌላ ቦታ» ነበር። የት? ምናልባት ሆስፒታል በር ላይ። ምናልባትም የትም አልነበረም፤ መኪናቸው ነዳጅ አጥቶ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ከንቲባ ሲሆኑ የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸ ነው፤ አምስት ቦታ ፈንድቶ አንድ ቡድን ካለኝ ማንን ላስጠብቅ? ነጋዴ የማያዋጣውን ደንበኛ በጨዋ ቋንቋ ይሸኛል። ከተማ ግን ዳገት ላይ ያለውን፣ ውሃ ለማድረስ ብዙ ወጪ የሚጠይቀውን፣ ሒሳቡንም አዘግይቶ የሚከፍለውን ሰፈር መሸኘት አይችልም። እዚያም ሰው አለ፤ ውሃ ይጠማዋል።

ሌላም ነገር አለ። መስመርዎ የፈነዳው ሌሊት ነው፤ ይህም የሚገርም አይደለም። ሌሊት ሰው ስለማይቀዳ በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ያረጀ ቧንቧ የሚሰነጠቀው ብዙ ጊዜ ያኔ ነው። የፈነዳውን መቀየር የሠራተኛ ሥራ ነው። ለምን እንደሚፈነዳ ጠይቆ፣ ግፊት መቀነሻ ቫልቭ የት የት እንደሚያስፈልግ አስጠንቶ፣ ለጥገና በየዓመቱ በጀት ማስያዝ ደግሞ የከንቲባ ሥራ ነው። ለዚህ ማንም አያጨበጭብም። ያልፈነዳ ቧንቧ አይታይም።

የንግድ ዕውቀትዎ የሚጠቅመው እዚህ ነው፤ እውነትም ይጠቅማል። ፒኤን 10፣ ማለትም እስከ 10 ባር ግፊት የሚችል፣ ተብሎ ተጽፎበት ግድግዳው ሲለካ ግን አነስተኛ ግፊት የሚችለው የፒኤን 6 ውፍረት ያለው ቧንቧ ሲቀርብ፣ ጠበቃ ወይም መምህር የሆነ ከንቲባ አያውቅም። እርስዎ አንስተው አይተው ይለዩታል። መጋዘን ውስጥ ዲያሜትሩ ከየትኛውም መስመር የማይገጥም መገጣጠሚያ ተቆልሎ ሲያዩ ዝም ብለው አያልፉም። በምን ያህል ዋጋ እንደተገዛ ያሰላሉ፤ ማን እንዳዘዘውም ይጠይቃሉ። ይህ ዓይን ብርቅ ነው። ልወዳደር ወይ ለሚለው ጥያቄዎ ሙሉ በሙሉ «አይ» እንዳልል የሚያደርገኝም ይኸው ዓይን ነው።

የማይጠቅምዎ ፍጥነትዎ ነው። ያን ቀን ከመጋዘን ዕቃ ሲያወጡ ማንንም አልጠየቁም፤ ዕቃው የእርስዎ ነውና። እንደ ከንቲባ ያንኑ ቧንቧ ለማውጣት የወጪ መጠየቂያ ይጻፋል። ዕቃው ከሌለ ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፤ ወጪው ከፍ ካለ ጨረታ ይወጣል። ለደመወዝ የተያዘው ለቧንቧ አይዞርም። ያሰለችዎታል። ግን ሥርዓቱ የተሠራው ገንዘቡ የሌላ ሰው ስለሆነ ነው። እርስዎስ ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂዎ ያለ ደረሰኝ ዕቃ ቢያወጣ ዝም ይሉት ነበር? ለድንገተኛ ጥገና የሚሆን ዕቃ አስቀድሞ እንዲከማች፣ ለድንገተኛ ግዥም በሕጉ የተፈቀደው መንገድ እንዲታወቅ ማድረግ ይችላሉ። ሥርዓቱን መዝለል ግን አይችሉም።

ስብሰባ አልወድም ያሉት ግን አሳስቦኛል፤ አብዛኛው ሥራ እዚያ ነውና። ማይክል ብሉምበርግ በ1981 ባቋቋመው ድርጅት ከዓለም ባለጸጎች አንዱ የሆነ ሰው ነው። ከ2002 እስከ 2013 የኒው ዮርክ ከንቲባ ነበር፤ ደመወዙም በዓመት 1 ዶላር። ወደ ማንሃተን እምብርት በሥራ ሰዓት የሚገባ መኪና ክፍያ ይክፈል የሚል ዕቅድ አወጣ። የከተማው ምክር ቤት አጸደቀለት። በ2008 ግን የግዛቱ ምክር ቤት ድምፅ እንኳ ሳይሰጥበት ዕቅዱ ቀረ። ያ ሁሉ ሀብትና ያ ሁሉ ዝና አላዳነውም። በድርጅትዎ «ይሁን» ካሉ ይሆናል። ምክር ቤት ውስጥ ግን እያንዳንዱ አባል የራሱ መራጭ አለው፤ እርስዎን የሚታዘዝበት ምክንያት የለውም።

ቶም ጆንሰን ይህን የተረዳ ሰው ይመስለኛል። በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከ1901 እስከ 1909 ከንቲባ የነበረ፣ በትራም ንግድ የበለጸገ ሰው ነው። ከንቲባ ከሆነ በኋላ የትራም ባለቤቶችን የሞገተው እሱው ነው፤ ለአንድ ጉዞ 3 ሳንቲም ይበቃል እያለ። ወጪያቸውንና ዘዴያቸውን ከውስጥ ያውቀዋል፤ ሊያታልሉት አይችሉም። እኔ ግን ይበልጥ የምወድለት ድንኳኑን ነው። የሰርከስ ድንኳን ከሰፈር ሰፈር እያዞረ ያስተክል ነበር። ሰው ይገባል፤ የፈለገውን ይጠይቃል፤ የሚቃወመውም ይነሳል። ጆንሰን መድረኩ ላይ ቆሞ ይመልሳል። እርስዎ ይህን መውደድ አይጠበቅብዎትም። መቻል ግን ይጠበቅብዎታል።

ስለዚህ ለመመዝገብ አይቸኩሉ። ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ ገብተው ከኋላ ይቀመጡ፤ በተለይ በጀት ሲጸድቅ። ያለፈውን ዓመት የኦዲት ሪፖርት ፈልገው ያንብቡ። ሒሳብ ማንበብ ያውቃሉ፤ ገንዘቡ የት እንደሚቀር ከማንም ቀድመው ያያሉ። ከውሃ ክፍሉ ነባር ቴክኒሻኖች አንዱን ያነጋግሩ። መስመሩ የት እንደተቀበረ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ካርታው አይደለም፤ እንዲህ ያለ ሰው ነው። ከንቲባ ቢሆኑ እሱን ማባረርም ሆነ ደመወዙን በእጥፍ መጨመር አይችሉም። አክብረውት አብሮዎት እንዲሠራ ማድረግ ብቻ ነው የሚችሉት። ከእነዚህ ሰዎች ጋር ውለው ወደ ቤት ሲመለሱ ልብዎ እንደተነሳ ከሆነ፣ ይወዳደሩ እላለሁ።

ከዚያ በፊት ግን አንዲት ወረቀት ይጻፉ። ድርጅቱ ከከተማው ጨረታ እንደሚወጣ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ በእጅ ያሉት ውሎች የትኞቹ እንደሆኑና መቼ እንደሚያልቁ ይዘርዝሩበት። መጀመሪያ ለባለቤትዎ ያንብቡላቸው። ሌባ ትባላለህ ያሉት ሴት ይህን ሰምተው ምን እንደሚሉ እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ። ቀጥለው ለወንድምዎ ያሳዩት። «ይሁን፣ ሌላ ገበያ እንፈልጋለን» ካለ ድርጅቱን ሊያምኑት ይችላሉ። ቅር ካለው ግን «ግባ» ያለዎት ለምን እንደነበር ያኔ ይገባዎታል፤ በዚያን ጊዜ ድርጅቱን ለሌላ ሰው ይሽጡት። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን እጩነትዎን በሚያሳውቁበት ቀን፣ ማንም ሳይጠይቅዎ በፊት፣ ለሕዝብ ያንብቡት። የሆነውንም ይጻፉልኝ።