«መጥረጊያ ይዤ ነው የምውለው»፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከደሴና ከኮምቦልቻ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናን የሚመለከቱ አራት መርጠናል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ የጸሐፊዎቹን ስም አላወጣንም።

*

«ጋሼ፣ በኮምቦልቻ በማሽን ሥራ ሙያ በደረጃ 3 እሠለጥናለሁ። ኮሌጁ ለትብብር ሥልጠና ወደ አንድ ፋብሪካ ከላከኝ ሰባት ሳምንት ሆኖኛል። እስካሁን ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጸው ማሽን) ላይ የቆምኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ የቀረውን ጊዜ መጥረጊያ ይዤ ነው የምውለው፤ ዕቃ አመላልሳለሁ፣ ሻይም አመጣለሁ። ለአሠልጣኜ ብናገር ፋብሪካው ተቀይሞ ከእኔ በኋላ የሚመጡትን አልቀበልም እንዳይል እፈራለሁ፤ ዝም ብል ደግሞ የብቃት ምዘናው እየቀረበ ነው። ምን ላድርግ?»
ሠልጣኝ፣ ከኮምቦልቻ

ቅሬታህ ትክክል ነው። የትብብር ሥልጠና ከጀርመን ልምድ ተቀስሞ በ2000 ዓ.ም. በወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ውስጥ ሲገባ የታሰበው ሠልጣኙ ከሥልጠና ጊዜው 70 በመቶ ያህሉን በድርጅት ውስጥ በሥራ ላይ፣ 30 በመቶ ያህሉን ደግሞ በኮሌጅ እንዲያሳልፍ ነበር። ይህ ክፍፍል ትርጉም የሚኖረው በድርጅት የሚያልፈው ጊዜ በማሽኑ አጠገብ ካለፈ ነው፤ ሰባት ሳምንት በመጥረጊያ ካለቀ የሥልጠናው ትልቁ ክፍል ባክኗል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ነገሩን ከባለሙያው ወገንም እንየው። የሽመና ማሽን በአንድ ቡሽ (ዘንግ የሚሽከረከርበት ቀለበት) መበላት ምክንያት ቆሞ፣ የጥገና ኃላፊው በየሩብ ሰዓቱ እየመጣ «አልደረሰም ወይ?» በሚልበት ሰዓት፣ ቶርኖው ላይ የቆመው ባለሙያ ሥራውን ለጀማሪ አሳልፎ አይሰጥም። ብረቱ ቢበላሽ ተጠያቂው እሱ ነው፤ አንተን ስላስተማረ ግን በደመወዙ ላይ የሚጨመርለት ነገር የለም። ስለዚህ መጥረጊያውን የሚሰጥህ አብዛኛውን ጊዜ ከክፋት ሳይሆን ሌላ ምን እንደሚሰጥህ የነገረው ሰው ስለሌለ ነው። እንደ እኔ አመለካከት ጥፋቱ ከፋብሪካው ይልቅ ወደ ኮሌጁ ያጋድላል፤ ሃያ ሠልጣኝ በአንድ ደብዳቤ ልኮ እስከ ማጠቃለያው ድረስ የማይጠይቅ ኮሌጅ ፋብሪካውን ለመውቀስ አፍ የለውም።

እንግዲህ ከወረቀቱ ጀምር። የትብብር ሥልጠና በኮሌጁ፣ በድርጅቱና በሠልጣኙ መካከል በሚደረግ ውል ይመራል፤ ከውሉም ጋር ከሙያ ደረጃው፣ ማለትም አንድ ባለሙያ ሊችለው የሚገባው ከተጻፈበት ሰነድ የተወሰዱ፣ በድርጅቱ ውስጥ ሊሠሩ የሚገባቸው ተግባራት የተዘረዘሩበት የሥልጠና ዕቅድ ሊኖር ይገባል። ዕቅዱን ከትብብር ሥልጠና አስተባባሪው ጠይቀህ አንድ ቅጂ ያዝ። ከዚያም አንድ ደብተር አዘጋጅተህ በየቀኑ የሠራኸውን፣ የተጠቀምክበትን ማሽን፣ የለካኸውን መጠንና ያስፈረምከውን ሰው መዝግብ። የጠረግህበትንና ሻይ ያመጣህበትንም ቀን ሳታስቀር ጻፈው። አሠልጣኝህ ለክትትል ሲመጣ ዕቅዱንና ደብተሩን ጎን ለጎን ብታሳየው ማንንም መክሰስ አያስፈልግህም፤ ክፍተቱን ራሱ ያነበዋል፤ ከድርጅቱ ጋር የመነጋገር ኃላፊነቱም የእሱ ይሆናል። ለሚቀጥሉት ሠልጣኞች የሰጋኸው ስጋትም በዚህ መንገድ ይቀንሳል፤ ጥያቄው የሚነሣው በአንተ ስም ሳይሆን በኮሌጁ ስም ነውና።

ሁለተኛው ጉዳይ የተመደብክበት ክፍል ነው። በምርት ክፍል ውስጥ ከሆንክ ወደ ጥገና ወርክሾፕ እንዲያዛውሩህ ጠይቅ። በኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቁም፣ ብረታ ብረቱም፣ ቢራውም ከውጭ በመጡ ማሽኖች የሚሠሩ ሲሆን መለዋወጫ በተፈለገ ቁጥር የውጭ ምንዛሪ አይገኝም፤ በዚህም የተነሣ ቡሽ፣ ዘንግ፣ ፒን፣ አንዳንዴም ጥርስ ያለው ማርሽ በግቢው ውስጥ ይቀረጻል። የማሽን ሥራ በእውነት የሚለመደው እዚያ ነው፤ ምክንያቱም አሮጌውን ለክቶ፣ የተበላውን ገምቶ፣ ንድፉን ስሎ አዲሱን የሚያወጣው ራሱ ባለሙያው ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በደረሰ ጊዜ ፋብሪካዎች ተዘርፈውና ተጎድተው ስለነበር፣ ወደ ሥራ በተመለሱበት ወቅት ይህ ዓይነቱ ችሎታ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በከተማው የማያውቅ የለም።

ሦስተኛው በራስህ እጅ ያለ ነው፤ ብታምነኝም ባታምነኝም የሚጀምረው ከመጥረጊያው ነው። የምትጠርገውን የብረት ልጣጭ ተመልከተው። ለስላሳ ብረት እየተጠማዘዘ ረጅም ሆኖ ይወጣል፤ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት፣ ማለትም ካስት አይረን፣ እየተሰበረ እንደ ፍርፋሪ ይረግፋል። የሚቆርጠው መሣሪያ ሃይ ስፒድ ስቲል ከሚባለው ጠንካራ ብረት የተሠራ ሆኖ ልጣጩ ሰማያዊ ከሆነ ፍጥነቱ በዝቶ መሣሪያው እየጋለ ነው፤ መሣሪያው ይበልጥ ሙቀት የሚችለው ካርባይድ ከሆነ ግን ያው ሰማያዊ ልጣጭ አያስደነግጥም። እንዲህ ካየህ በኋላ ሒሳቡን ሥራው፦ 40 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ለስላሳ ብረት በሃይ ስፒድ ስቲል፣ በደቂቃ 25 ሜትር የመቁረጫ ፍጥነት ለመቅረጽ 1000ን በ25 አባዝተህ ለ3.14 እና ለ40 ብዜት ብታካፍለው በደቂቃ 200 ዙር ገደማ ይመጣል። ባለሙያው ማሽኑን በ120 ዙር ካስነሣው ምክንያቱን በትሕትና ጠይቀው። «ማሽኑ አርጅቷል፣ ይንቀጠቀጣል» ሊልህ ይችላል፤ ይህም በመማሪያ ሞጁሉ ውስጥ የማታገኘው ትምህርት ነው። እንዲህ የሚጠይቅ ልጅ ያጋጠመው ባለሙያ መጥረጊያውን ለረጅም ጊዜ አያስይዘውም።

እኔ ራሴ በወጣትነቴ በአንድ ወርክሾፕ ውስጥ ሦስት ወር ያህል ሞርሳ (ብረት ነክሶ የሚይዘውን መሣሪያ) ከማጥበቅ በቀር ሌላ ሥራ አልነበረኝም። አንድ አዛውንት ባለሙያ በምሳ ሰዓት ከቁርጥራጭ ክምር ውስጥ ዘንግ አንሥተው «ይህ ቢበላሽ የሚያለቅስ የለም» ብለው ሰጡኝ። አንተም የምትጠይቀው ይህንኑ ይሁን፦ የተጣለ ብረት፣ ማሽኑ ሥራ ፈቶ የሚቆምበት ግማሽ ሰዓት፣ አጠገብህም የሚቆም አንድ ሰው። ሰው አጠገብህ ሳይኖር ማሽን አታስነሣ፤ እጅጌህን ሰብስብ፣ ጓንት አድርገህ ወደሚሽከረከር ብረት አትቅረብ። ጓንት እጅን የሚጠብቅ ይመስላል እንጂ ቶርኖ ላይ እጅን ይዞ የሚሄድ እሱ ነው።

*

«ልጄ በ12ኛ ክፍል ፈተና ማለፊያ ነጥብ አላመጣችም። ቴክኒክና ሙያ ልትገባ ትፈልጋለች፤ ጎረቤቶቻችን ግን ‹የወደቁት የሚሄዱበት ነው› እያሉ አንገቷን አስደፍተዋታል። እሷ በኤሌክትሪክና በልብስ ስፌት መካከል ታመነታለች። የምንኖረው ደሴ ነው፤ ወደ ኮምቦልቻ በየቀኑ መመላለሱም ያሳስበኛል።»
እናት፣ ከደሴ

የተከበሩ እናታችን፣ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። የአገሩ ልጅ በሙሉ ማለት ይቻላል «ወድቋል» ከተባለ ቃሉ ስለ ልጅዎ የሚነግረን ነገር የለም። ጎረቤቶችዎን ደግሞ ወይዘሮ ስህንን ያስታውሷቸው። የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት በነበሩት በእኒህ ሴት ስም የተሰየመውና ለስንት ትውልድ የደሴ ኩራት የነበረው ትምህርት ቤት ዛሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ነው። ያንን በር መርገጥ ውርደት ሊሆን አይችልም።

በሙያ ምርጫው ላይ ልጅዎ የምትወደው ይቀድማል፤ ሁለቱን እኩል የምትወድ ከሆነ ግን እኔ ወደ ኤሌክትሪክ አደላለሁ። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ የልብስ ስፌት ሙያ የብዙ ወጣት ሴቶች ተስፋ ሆኖ ነበር። ነገር ግን ከጦርነቱ ጉዳት በላይ ኢትዮጵያ ከ2022 እ.ኤ.አ. መግቢያ ጀምሮ ከአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል፣ ከአጎዋ፣ በመውጣቷ፣ ለውጭ ገበያ የሚሰፉ ድርጅቶች ምን ያህል በሩቅ ውሳኔ ላይ የተንጠለጠሉ እንደሆኑ ታይቷል። ኤሌክትሪክ የምትችል ልጅ ግን ፋብሪካ ቢዘጋ ሆቴል፣ ሆቴል ብታጣ አዲስ ሕንፃ አታጣም። ልብስ ስፌትም ቢሆን በራስ የስፌት መኪና፣ በራስ ቤት ለመሥራት የሚታሰብ ከሆነ ሌላ ስሌት አለው።

ስለ መመላለሱ፦ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የሐረጎን ቁልቁለት በክረምት ጉም ማለዳ መውረድ ለአንድ ሰሞን እንጂ ለሦስት ዓመት የሚሆን አይደለም። እዚያው ደሴ ተመዝግባ ከቤትዎ እየተማረች፣ ፋብሪካ የምትመደብበት ወቅት ሲደርስ ብቻ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ኮምቦልቻ ቤት ብትከራይ ይሻላል። ኮምቦልቻ ከደሴ ይልቅ ሞቃት ስለሆነና ወባም ስለሚገኝበት አጎበር ይዛ ትሂድ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች እንደ ዩኒቨርሲቲ መኝታና ምግብ የማቅረብ ልማድ ስለሌላቸው የኪራዩን፣ የቱታውንና የደኅንነት ጫማውን ወጪ ከወዲሁ ያስቡበት።

ከመመዝገቧ በፊት ደግሞ አብረዋት ወደ ኮሌጁ ይሂዱና ወርክሾፑን እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። በሩ ላይ የተለጠፈውን የማሽን ዝርዝር ትተው ስንቱ እንደሚሠራ፣ በአንድ ጊዜ ስንት ሠልጣኝ እንደሚጠቀምበት፣ ካለፈው ዙር ሠልጣኞችም ስንቱ በምዘና ብቁ እንደተባሉ ይጠይቁ። የሥርዓተ ፆታ ጉዳዮችን የሚከታተለውን ክፍልም ልጅዎ በመጀመሪያው ሳምንት ትወቀው። በፋብሪካ ምደባ ላይ ለሴት ሠልጣኝ የማይመች ነገር ቢገጥማት ለማን እንደምትናገር ያን ጊዜ መፈለግ አይኖርባትም።

*

«ወንድሜ ቨርጂኒያ ነው ያለው። ‹እዚህ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚባል አለ፤ የያዝከው ደረጃ 4 ይታሰብልሃል› ይለኛል። እውነት ነው?»
ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ

በከፊል እውነት ነው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በአሜሪካ ለአካባቢው ነዋሪ ክፍት የሆነ፣ በመደበኛው የሁለት ዓመት ትምህርት የሚሰጥ ተቋም ነው። የመጀመሪያው በኢሊኖይ በጆሊየት ከተማ በ1901 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ነው። ጥንካሬው ሁለት በሮች ያሉት መሆኑ ነው፤ አንድ ሰው በብየዳ ወይም በነርስነት ሠልጥኖ ወደ ሥራ ይወጣል፤ ሌላው በዚያው ግቢ የተማረውን ይዞ የአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ይገባል። የእኛ ደረጃ 4 ግን የሚለካው በትምህርት ሰዓት ድምር ሳይሆን በሙያ ብቃት ስለሆነ በቀጥታ አይተካም፤ እያንዳንዱ ኮሌጅ ሰነድህን አይቶ ይወስናል። ስለዚህ የምዘና ሰርተፊኬትህን ብቻ ሳይሆን የየሞጁሉን ሰዓትና ይዘት የሚያሳይ ማስረጃ ከሬጅስትራር አውጥተህ ያዝ። እዚህ ሆነህ ማውጣቱ እዚያ ሆነህ ሰው ከመላክ ይቀልላል።

*

«ደሴ ውስጥ በጋራዥ 14 ዓመት ሠርቻለሁ። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። መንጃ ፈቃዴን ይዤ ሥራ ስጠይቅ ‹የሙያ ማስረጃ አምጣ› ይሉኛል። በዚህ ዕድሜዬ ከልጆች ጋር ኮሌጅ ልግባ?»
መካኒክ፣ ከደሴ

አብሽሩ፤ መግባት የግድ አይደለም። የአገራችን የብቃት ምዘና ሥርዓት ሲዘረጋ ሥልጠናውና ምዘናው እንዲለያዩ የተደረገው እንደ እርስዎ ያሉ ሰዎች ታስበው ጭምር ነው። ሰው ሙያውን በኮሌጅም ይልመደው በአባቱ ጋራዥ፣ መዛኞቹ የሚያዩት መሥራቱን ነው። ተለምዶ ሲኦሲ በሚባለው ምዘና የጽሑፍና የተግባር ክፍል አለ፤ ውጤቱም «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ተብሎ ይገለጻል። ገና ብቁ ያልሆነ የተባለ ሰው ጎድሎ የተገኘበትን አሟልቶ እንደገና ሊቀርብ ይችላል።

ለእርስዎ የሚያሳስበኝ ተግባሩ ሳይሆን ጽሑፉ ነው፤ ያውም ዕውቀት ስለሚያጥርዎት ሳይሆን ቋንቋው ስለሚለያይ ነው። ጋራዡ አሁንም በጣሊያንኛ ነው የሚናገረው፤ ፈተናው ግን በእንግሊዝኛ ስሞች የተሞላ ነው። እርስዎ ኩሽኔታ የሚሉትን ወረቀቱ ቤሪንግ፣ ፍሪሲዮን የሚሉትን ክላች፣ ካንዴላ የሚሉትን ስፓርክ ፕለግ ይለዋል። በሺህ የሚቆጠር ካምቢዮ ፈትቶ የገጠመ ሰው ጊር ቦክስ የሚለውን ቃል ባለማወቁ ነጥብ ማጣቱ ያሳዝናል፤ ሆኖም ያጋጥማል። ስለዚህ የሙያ ደረጃውን ሰነድ ከምዘና ማዕከሉ ወይም በአቅራቢያዎ ካለ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ጠይቀው ያግኙ፤ በየትኛው ደረጃ መመዘን እንደሚሻልዎትም እዚያው ያማክሩ። ከዚያም ከጋራዡ ወጣቶች የተማረውን አንዱን አጠገብዎ አስቀምጠው፣ እርስዎ ዕቃውን እያነሡ፣ እሱ በወረቀቱ ያለውን ስም እያነበበልዎት ከምሽት ሥራ በኋላ ለጥቂት ሳምንት ይለማመዱ። ልጁም በዚያው ጊዜ ካምቢዮ አከፋፈት ከእርስዎ ይማራል።