የትኛውን ጃኬት ያምጣልኝ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጅማ፣ ቆጪ ሰፈር ነው የምኖረው። 27 ዓመቴ ነው፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ58፣ ክብደቴ 52 ኪሎ። ጥቅምት ላይ ጅቡቲ ሄጄ ባሕር ውስጥ መጥለቅ ልማር ገንዘብ እያጠራቀምኩ ነው። ዱባይ የሚሠራው ወንድሜ ለአረፋ ሲመጣ ቢሲዲ የሚባለውን፣ አየር እየተሞላ የሚያንሳፍፈውን የጠላቂ ጃኬት ሊያመጣልኝ ሁለት አግኝቷል። አንዱ ያገለገለ፣ ቁጥሩ ትልቅ፣ ኪሱ ብዙ፣ 20 ኪሎ የሚያንሳፍፍ ሲሆን ዋጋው የሌላው ግማሽ ነው። ሁለተኛው አዲስ፣ ቁጥሩ ትንሽ፣ አየሩ ከጀርባ ብቻ የሚሞላ፣ 12 ኪሎ የሚያንሳፍፍ ነው። ዋና ብዙም ስለማልችል ትልቁ የተሻለ ይይዘኛል ብዬ አሰብኩ። ከመሄዴ በፊትስ ግልገል ጊቤ ግድብ ላይ ልለማመድበት እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከጅማ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይመጣልኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበርና ደብዳቤሽን ፈረንጅ አራዳ ቁጭ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ወንድምሽ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት እንዲደርስሽ መልሱን ላስቀድም፦ ትልቁን ተይው።

ጅቡቲ ውስጥ ጠላቂዎችን በሚያመላልስ ጀልባ ላይ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ጠላቂው በጀርባው የሚያዝለውን የአየር ሲሊንደር እሞላ ነበር፤ ጠዋት ጃኬት አድላለሁ፣ ማታ አጥባለሁ። በእጄ ያላለፈ የጃኬት ዓይነት የለም ማለት እችላለሁ።

ከጃኬቱ በፊት ግን ያሳሰበኝ «ዋና ብዙም አልችልም» ያልሽው ነው። ቢሲዲ የሕይወት አድን ጃኬት አይደለም። የሕይወት አድኑ ራሱን የሳተ ሰው ፊቱ ወደ ሰማይ እንዲዞር ተደርጎ ይሠራል። የጠላቂው ጃኬት ለዚያ አልተሠራም፤ አንዳንዱ እንዲያውም አብዝተሽ ከሞላሽው በፊት ለፊት ይደፋሻል። በመጀመሪያው ኮርስ 200 ሜትር እንድትዋኚ፣ 10 ደቂቃ ደግሞ ያለ ምንም ድጋፍ እንድትንሳፈፊ ይጠይቁሻል። እስከ ጥቅምት ጊዜ አለሽ፤ ካጠራቀምሽው ላይ ቀንሰሽ የሆቴል መዋኛ ክፈዪና አስተማሪ ያዢ። ከማንኛውም ዕቃ ይህ ይቀድማል።

አሁን ወደ 20 ኪሎው። ሁለት ሊትር የሚይዝ ባዶ ሃይላንድ ክዳኑን አጥብቀሽ ዝጊና ውሃ በሞላ ባልዲ ውስጥ በመዳፍሽ ወደ ታች ግፊው። ወደ ላይ የሚገፋሽ ኃይል ወደ 2 ኪሎ ይጠጋል፤ አንድ ሊትር አየር አንድ ኪሎ ያህል ያነሳልና። 20 ኪሎ የሚያንሳፍፍ ጃኬት ማለት እንግዲህ አሥር እንዲህ ያለ ሃይላንድ 52 ኪሎ በምትመዝን ልጅ ላይ ማሰር ነው። የሚያስፈልግሽን እናስላ። 12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር ግፊት ሲሞላ 2,400 ሊትር አየር ይይዛል፤ አየሩ ብቻውን 3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አየሩ እየተነፈስሽው ስለሚያልቅ መጀመሪያ ላይ በዚያ መጠን ከብደሽ ትጀምሪያለሽ። ለሞቃት ባሕር የሚለበሰው ኒዮፕሪን ከሚባል ስፖንጅ መሰል ጎማ የተሠራው ቀጭን ልብስ ደግሞ ወደ ታች ስትወርጂ ይጨመቅና የማንሳፈፍ አቅሙን ያጣል፤ ለእሱ ሁለት ኪሎ ያዢ። ለመስመጥ የምትታጠቂው የእርሳስ ክብደት በትክክል ከተለካልሽ ጃኬቱ የሚሸከመው አምስት፣ ቢበዛ ስድስት ኪሎ ነው። 12ቱ ተርፎሽ ውሃው ላይ እንደ ልብ ያቆምሻል።

ትርፉ ቢቀመጥ ምን ይጎዳል ትዪ ይሆናል። አየር ውሃ ውስጥ ባለበት መጠን አይቆይም፤ ስትወጪ ይሰፋል። 10 ሜትር ላይ ያስገባሽው አንድ ሊትር ከባሕሩ ወለል ስትደርሺ ሁለት ሊትር ይሆናል። በጊዜ ካላስወጣሽው ያነሳሻል፤ ሲያነሳሽ የባሰ ይሰፋል፤ ሲሰፋ የባሰ ያነሳሻል። ሰፊ ጃኬት በትንሽ ሰው ላይ ሲሆን ደግሞ አየሩ ከማስወጫው ርቆ እጥፋት ውስጥ ይሸሸጋል።

ይህ በራሴ ደርሷል። አንድ ማታ ደክሞኝ አንዱን ጃኬት ሳላጥብ ሰቀልኩት። በማግስቱ ያንኑ ለብሼ ገባሁ። 14 ሜትር ላይ ትንሽ አየር ልጨምር ቁልፉን ስጫን ጨው አድርቆት ኖሮ ገብቶ ቀረ። ጃኬቱ ደረቴን ማጥበቅ ጀመረ፤ እግሬ ሥር የነበረው ኮራል ሲርቅ አየሁ። በግራ እጄ የትከሻውን ማስወጫ ገመድ ሳብኩ፤ በቀኜ ከሲሊንደሩ የሚመጣውን ቀጭን ቱቦ ቀለበቱን ወደ ኋላ ስቤ ነቀልኩት። አየሩ ቆመ። ይህን ሁሉ ሳደርግ ትንፋሼን እያወጣሁ ነበር፤ ይዤው ቢሆን ሳንባዬም እንደ ጃኬቱ ይሰፋ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ጃኬት ሳይ መጀመሪያ ዓይኔ የሚሄደው አየር ወደሚወጣበት ነው። ስንት ማስወጫ አለው? አንዱ ትከሻ ላይ፣ አንዱ ከታች ከወገብ በስተኋላ መኖር አለበት፤ አየር ሁልጊዜ ወደ ከፍተኛው ቦታ ስለሚሸሽ ራስሽ ወደ ታች ሲያዘነብል በትከሻው በኩል አይወጣም። ገመዶቹን ሳታዪ በጓንት እጅ ታገኚያቸዋለሽ? ለእኔ ከኪስ ብዛት ይህ ይበልጣል።

ልኩን በተመለከተ መርካቶ ወዳለ ልብስ ሰፊ ሂጂና ደረትሽን፣ ወገብሽን፣ ከማጅራትሽ እስከ ዳሌ አጥንትሽ ያለውን ርዝመት አስለኪ። ለወንድምሽ የምትልኪው «ትንሽ ቁጥር» የሚለውን ቃል ሳይሆን እነዚህን ሦስት ልኮች ነው፤ የአንዱ ፋብሪካ ትንሽ የሌላው መካከለኛ ነውና። ጃኬቱ እስከ መጨረሻ ተሞልቶ በደንብ መተንፈስ መቻል አለብሽ። ሰው ከትከሻው ይዞ ወደ ላይ ሲስበው ደግሞ ጆሮሽ ድረስ መውጣት የለበትም። ትልቁ ይወጣብሻል፤ ሲሊንደሩም ከጀርባሽ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል።

ከጀርባ የሚሞላው ለጀማሪ ይከብዳል የሚል ሰው ልትሰሚ ትችያለሽ። በጎንና በጀርባ የሚሞላው ውሃው ላይ ቀጥ አድርጎ ያቆማል፤ ይህ እውነት ነው። ከጀርባ የሚሞላው ደረትሽን አያጨናንቅም፤ ውሃ ውስጥ አግድም ያስተኛሻል፤ ላይ ስትሆኚ ግን ከመጠን በላይ ሞልተሽው ክብደትሽ ፊት ለፊት ከሆነ ወደፊት ይገፋሻል። ትንሽ ወደ ኋላ ጋደል ማለት ይበቃዋል፤ በሁለት ቀን ትለምጂዋለሽ። የእርሳስ ኪሶች ካሉት አንድ ጊዜ ሲጎተቱ ተላቀው የሚወጡ መሆናቸውን ወንድምሽ በእጁ ሞክሮ ያረጋግጥ።

ያገለገለ መግዛት ነውር የለውም። ልክሽ የሆነ ያገለገለ ከተገኘ ሱቁ ውስጥ ሲሊንደር ሳያስፈልግ በአፍ ይነፋ፤ የሁሉም ጃኬት አየር መሙያ ቱቦ በአፍ የሚነፋበት ጫፍ አለው። እስኪወጠር ነፍተው ያሳድሩት፤ ጠዋት ከላላ ይተው። በየቫልቩ ዙሪያ የኦሞ አረፋ ይቀባ፤ የሚያፈስ ካለ አረፋው ይነፋል። ከዚያ ጃኬቱን ገልብጦ ያወዛውዘው። ውስጡ እንደ አሸዋ የሚንኮሻኮሽ ከሰማ የደረቀ ጨው ነው፤ የቀድሞው ባለቤት አላጠበውም። እንዲህ ያለውን በነጻም አትቀበዪ፤ እዚህ ጅማ የሚጠግንልሽ የለም።

ግልገል ጊቤን ግን እርሺው፤ ብቻሽን ያለ አስተማሪ ከሆነ የትም ውሃ እርሺው። እዚህ ጅማ አጠገብ የቦዬ ረግረግን ጉማሬ ያየ ሰው ሌላ ምክንያት አያስፈልገውም፤ እኔ ግን ሌላም አለኝ። ግድቡ ከባሕር ጠለል 1,670 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ጠላቂዎች ከ300 ሜትር በላይ ያለውን ውሃ ሁሉ ለብቻው ሥልጠና የሚጠይቅ ከፍታ ይሉታል። የአየሩ ግፊት እዚያ ከባሕሩ ዳር 82 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ 10 ሜትር ላይ ያስገባሽው አየር ስትወጪ 2.2 እጥፍ ይሆናል። በባሕር ከለመደው ሰው እጅ እንኳ የሚያመልጥ ነው።

ከፍታን ካነሳሁ አይቀር፣ ከጅቡቲ ስትመለሺም እንዳትቸኩዪ። ለብዙ ቀን ከጠለቅሽ በኋላ አውሮፕላን ለመሳፈር ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት ይመከራል፤ እኔ ሙሉ ቀን እላለሁ። በባቡርም ሆነ በመኪና ብትመጪ ያው ነው፤ መንገዱ ወደ ደጋ ይወጣል።

ከተቻለ ግን ኮርሱን በኪራይ ጃኬት ጨርሰሽ ከዚያ ብትገዢ እመርጣለሁ፤ አራት ጊዜ ባሕር ገብተሽ ስትወጪ ትከሻሽ የሚፈልገውን ራሱ ይነግርሻል። ወንድምሽ ዳግም የሚመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ከሆነ ግን አዲሱን ትንሹን ያምጣ።

ከመጣ በኋላ ሳጥን ውስጥ አጥፈሽ እንዳትከቺው። በጅማ ክረምት አልጋ ሥር የተረሳ ጫማ ምን እንደሚያበቅል ታውቂያለሽ። በባሕር ከተጠቀምሽበት ሲሶውን ንጹሕ ውሃ ሙይና አወዛውዢ፤ ገልብጠሽ በቱቦው በኩል አፍስሺው፤ ውሃው ጨው ጨው ማለት እስኪተው ድገሚው። ከዚያ ግማሽ ያህል ነፍተሽ ጥላ ላይ ስቀዪው። ቁልፉን እዚያው ተሰቅሎ እያለ አሥር ጊዜ ተጫኚው፤ በተጫንሽው ቁጥር ወደ ቦታው መመለስ አለበት።